የለቅሶ ማገዶ

ገበየሁ የመጀመሪያውን የወይራ ጉማጅ ከአህያው ላይ ሲያራግፍ ሃረገወይን ፍራሿ ላይ ተቀምጣ በበሩ በኩል ታየው ነበር። ሁለተኛውን አወረደ። ሦስተኛው ከእጁ አምልጦ ተንከባለለና ወፍራም ጫፉን ወደ እሷ አዙሮ ከደጃፉ ድንጋይ ጋር ተላትሞ ቆመ። ጫፉ ላይ ዙሪያውን በመጥረቢያ የተጠረቡ ሁለት ቀለበቶች አሉ።

የያዘችው የንፍሮ ሳህን ከእጇ ወደቀ።

"ምነው እህትዓለም?" አለች እልፍነሽ። እልፍነሽ በመንደሩ የቀብር እድር፣ በቅሬው፣ የለቅሶ ቤት ምግብና ማገዶ አዛዥ ናት፤ ንፍሮው ሲበተን ከሐዘንተኛዋ ይልቅ ለባቄላው አዝና መልቀም ጀመረች። "ምን አየሽ?"

"በረደኝ።"

ብርዱስ ውሸት አይደለም። መርሳ ታች በሙቀት ስትቀልጥ ከበላይዋ ያለው ይህ መንደር በታኅሣሥ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ እሳት በሌለበት ቤት አይታደርም። ሃረገወይንን ያንቀጠቀጣት ግን ሌላ ነው። ከውርጌሳ እስከ ግራና እንጨት ቆራጭ ሞልቷል፤ የጭነት ገመድ እንዳይንሸራተት ብሎ በየጉማጁ ጫፍ ሁለት ቀለበት የሚጠርብ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱንም ትናንት ቀበረችው።

ባሏ ሓድጉ ከትናንት በስቲያ፣ አገሩን ይዘው የቆዩት የትግራይ ታጣቂዎች ከመርሳ በወጡ ማግሥት፣ "አምስት ወር ለእነሱ ቆረጥሁ፤ ዛሬ ለቤቴ ልቁረጥ" ብሎ አህያውን ነድቶ ወደ ወይራው ጫካ ሄደ። ቀትር ላይ አህያው ባዶ ጀርባውን ተመለሰ። ሰዎች ወጥተው ሲያዩ ሓድጉ በአፍ ጢሙ ተደፍቷል፤ የራስ ቅሉ ከኋላ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የቆረጠው እንጨት የለም። "ሲሸሹ አግኝተውት በሰደፍ ጨረሱት፤ እንጨቱንም ወሰዱበት" ተባለ። አገሩ በእነሱ እጅ ስንቱን አይቷልና ማንም አልተጠራጠረም። የሚሸሽ ወታደር አንድ ጭነት ወይራ ተሸክሞ የት ይደርሳል ብሎ የጠየቀ አልተገኘም። እሷም አልጠየቀችም።

አሁን እንጨቱ መጣ። ያመጣው ደግሞ ገበየሁ ነው፤ ሃያ ዓመት ከሓድጉ ጋር አንድ ዛፍ በሁለት መጥረቢያ ሲጥል የኖረ ሰው። በቅሬው ደንብ የሐዘንተኛ ቤት ሰው መጥረቢያ አያነሳም፤ ማገዶ የሚያመጣውም የሚፈልጠውም የሟች የሥራ ባልንጀራ ነው። ገበየሁ ቀለበቶቹን ለሃያ ዓመት ስላያቸው ከነጭራሹ አያያቸውም። ሌላው ለቀስተኛ እንጨት ቆራጭ አይደለምና ልብ አይላቸውም። አንድ ሰው ግን ገና ከበር ሳይገባ ያያቸዋል።

የዚያን ሰው ስም ደግሞ ወዲያው ሰማች። ከመርሳ የመጣ አንድ ለቀስተኛ፣ "ሮቤል ውርጌሳ ደርሷል አሉ። መኪና ቢያጣ እንኳ በእግሩ ነገ ጠዋት ይገባል" አለ። ሴቶቹ አለቀሱ።

ሮቤል አንድ ልጇ ነው፤ ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ደብረ ብርሃን የሸሸ። ቀለበት መጥረብን ከአባቱ የተማረው በስምንት ዓመቱ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ደግሞ ግራና ገበያ ላይ አባቱን በጥፊ የመታን ሰው ጆሮ በመጥረቢያ ግማሹን ወስዶታል፤ ሦስት ወንድ ነው ይዞ ያስጣለው። ይህን እንጨት ካየ ሳያድር ገበየሁን ይገድላል። የገበየሁ ልጆች ደግሞ እሱን ይገድሉታል። ሃረገወይን ባሏን ቀብራለች፤ ልጇን ግን አትቀብርም።

"ጓሮ ደርሼ ልምጣ" ብላ ተነሳች።

ገበየሁ ከቤቱ ጀርባ በአንድ ጉማጅ ላይ ሽብልቅ እየመታ ነበር። ወይራ እንዲሁ አይሰነጠቅም፤ ይጮኻል። እሷን ሲያይ መጥረቢያው ከአናቱ በላይ ቀረ።

"ይህ እንጨት ከየት መጣ?"

"ከጫካው..."

"ቀለበቱን አይቼዋለሁ ገበየሁ።"

መዋሸት ይችል ነበር። ወድቆ አገኘሁት ቢላት ምናልባት ታምነው ነበር፤ ማመንም ፈልጋ ነበር። እሱ ግን መጥረቢያውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ትቼው ልመጣ አልቻልሁም" አለ። "ወስጄ ቤቴ ደበቅሁት። ልሸጠው አልቻልሁም፤ ላንድደውም አልቻልሁም። የቤቱ ነው ብዬ ነው።"

"የቤቱ!" አለች።

"ስለ ወልዴ ነው፣ ሃረግ።"

ወልዴ የገበየሁ ታናሽ ወንድም ነበር። በመስከረም ታጣቂዎቹ "ሰላይ ነህ" ብለው ከቤቱ አውጥተው ረሽነውታል።

"ሓድጉ ቋንቋቸውን ያወራል። እንጨት ይፈልጥላቸው ነበር። ወልዴ የተያዘ ለት አብሯቸው ቆሞ ሲያወራ ያየው አለ። መጀመሪያ አላመንሁም። ሦስት ወር ሙሉ ሰው በጆሮዬ ሲያንሾካሹክ ግን... ጫካ ብቻውን አገኘሁት። 'ወንድሜን ጠቁመህ አስገደልኸው ወይ?' አልሁት። 'አንተም?' አለኝ። ዞር ብሎ እንጨቱን ማሰር ጀመረ። በመጥረቢያው ጀርባ መታሁት። ከወደቀም በኋላ መታሁት። ስንት ጊዜ እንደሁ..."

"ተው!"

ሓድጉ የወልድያ ልጅ ነው። አባቱ ከማይጨው መጥቶ ወልድያ እንጨት ሲነግድ ወለደው፤ ትግርኛውን ከአባቱ፣ አማርኛውን ከሰፈሩ አገኘ። ዕድሜውን ሙሉ ይህ ነገር የማንም ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ጦርነቱ ሲመጣ ሁለቱንም ወገን ድንገት ትዝ አላቸው። ታጣቂዎቹ "የኛ ሰው ሆነህ ትለግማለህ" እያሉ በጥፊ እያጣደፉ አስፈለጡት፤ ጎረቤቱ ደግሞ ለምን እስካሁን አልገደሉትም ብሎ ጠረጠረው። እሱ በመካከል እንጨቱን ይፈልጥ ነበር።

"የፊት ጥርሶቹን ማን እንዳረገፋቸው ታውቃለህ?" አለች ሃረገወይን።

"ከዛፍ ወድቆ..."

"ለአንተ እንዲያ አለህ። ወልዴን ከእንጨቱ ክምር ጋር ያስጠጉት ጊዜ እግራቸው ላይ ተደፋ። በቋንቋቸው ለመናቸው። 'ወንድሜ ነው፣ በእኔ ይሁን' አላቸው። በሰደፍ አፉን አሉት። ጥርሱን ከደሙ ጋር ሲተፋ ወልዴን ዓይኑ እያየ ተኮሱበት። ከዚያ መጥረቢያ አቀበሉትና ሬሳው አጠገብ እስኪመሽ እንጨት አስፈለጡት። ቤት ሲገባ ልብሱ ላይ ያለው የእሱ ደም ይሁን የወልዴ መለየት አልቻልሁም። አብሬ አጠብሁት።"

ገበየሁ ጉማጁ ላይ ቁጭ አለ። "ለምን አልነገረኝም?"

"'ወንድሙን ላላዳንሁት ምን ብዬ ምስጋና ልቀበል' አለኝ።"

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ የራሱን ክንድ ነከሰ። ደም እስኪወጣ ነከሰው። መጥረቢያው እግሯ ሥር ነበር፤ አነሳችው። ማጅራቱ ከፊቷ ተጋልጧል። ልትመታው ፈለገች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሓድጉን የመታውን ያህል። ከቤት ውስጥ እልፍነሽ ለሮቤል መኝታ የት እንደሚነጠፍለት ከሴቶቹ ጋር ስትከራከር ተሰማት። ሃረገወይን መጥረቢያውን ገበየሁ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

"ፍለጠው" አለች። "ሁሉንም፣ ደቃቅ አድርገህ። ነገ ልጄ ሲገባ አንድ ቀለበት እንዳይታይ።"

"ልናገር ሃረግ። ለሽማግሎቹ እጄን ልስጥ።"

"ከተናገርህ ሮቤል ይሰማል። ከሰማ ይገድልሃል፤ ልጆችህ ይገድሉታል። አንዱን ገድለህብኛል። ሁለተኛውን አልሰጥህም።"

ያን ቀን በዚያ መንደር ለቅሶ ቤት ታይቶ የማይታወቅ እሳት ነደደ። እልፍነሽ ልታብድ ደረሰች።

"ኧረ በሞቴ! ወይራ እኮ ነው! እስከ አርባው የሚያደርሰንን በአንድ ቀን?"

"አንድጂው።"

"ሰዉን ላብ አጠመቀው!"

"በረደኝ አልሁሽ፣ አንድጂው!"

ለቀስተኛው ጋቢውን እያወለቀ ወደ ደጅ ወጣ። "ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው" ተባባሉ፤ አንዳንዷም "አብሽሪ፣ አብሽሪ" እያለች ትከሻዋን ዳበሰች። ሃረገወይን ዓይኗን ከምድጃው አልነቀለችም። የመጣውን ፍልጥ ሁሉ ቅርፊቱን ታያለች፤ የቀለበት ቁራጭ ያለበትን ራሷ እየመረጠች ወደ ፍሙ ትገፋለች። የባሏ የመጨረሻ የእጅ ሥራ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን አንዱን አቅፋው ታድር ነበር። እሷ አመድ አደረገችው፤ በገፋች ቁጥርም ራሷን ረገመች።

ገበየሁ ጓሮ ሲፈልጥ ዋለ። መዳፉ ተልጦ እጀታው በደም ሲያንሸራትተው ወንዶቹ "እረፍ እንጂ፣ ራስህን ብትገድል ሓድጉን አትመልሰው" አሉት። እምቢ ሲላቸው በጨርቅ አሰሩለት። ለባልንጀራው እንዲህ የሚያዝን ሰው አይተን አናውቅም ብለው አመሰገኑት። ይህን ምስጋና ሃረገወይን እሳቱ ዳር ሆና ሰማችው፤ የጎረሰችውን ንፍሮ አመድ ላይ ተፋችው።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ጉማጅ ቀረ። ጉጥ የበዛበት፣ ሽብልቅ የማያስገባ ነው። ገበየሁ ሊጨርሰው ሲታገል ከታች ከመንገዱ "አባቴ! ወየው አባቴ!" የሚል ጩኸት መጣ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ሊቀበል ወረደ። ሃረገወይን አልወረደችም። ጓሮ ሮጣ ጉማጁን ከገበየሁ እግር ሥር ነጠቀች፤ እንዳለ አቅፋ ቤት አስገባችና ወፍራም ጫፉን ፍሙ ውስጥ ሰነቀረችው።

እንጨቱ እርጥብ ነው፤ አልይዝ አለ። ጩኸቱ አጥሩ ጋ ደረሰ። ጉማጁ በከበበው ጉጥ የተነሳ እየዞረ ቀለበቶቹን ወደ ላይ ይመልሳል። ሃረገወይን በመዳፏ ጨብጣ ወደ ታች አዞረቻቸውና ከፍሙ ጋር ተጫነቻቸው። ቆዳዋ ሲጤስ አየችው፤ አለቀቀችም።

"እማ! እማ፣ እጅሽ!"

ሮቤል ከኋላዋ አቅፎ ጎትቶ ሲያነሳት ቀለበቶቹ ጠቁረው ከቀረው ቅርፊት አይለዩም ነበር። በር ላይ የቆመውን ገበየሁን አየና "አያ ገበየሁ፣ ውሃ ያቀብሉኝ!" አለ። ገበየሁ በጣሳ አመጣለት። ሮቤል በእጁ ላይ የታሰረውን ደም የነካ ጨርቅ አየ። "አንቱም ለአባቴ ብለው እንዲህ ሁነዋል" ብሎ ትከሻውን ሳመው።

ሃረገወይን ዓይኗን ጨፈነች።

ሮቤል ውሃውን መዳፏ ላይ እያፈሰሰ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። "ማን ነው የገደለው እማ? ለእኔ ብቻ ንገሪኝ።"

"የሸሹት ናቸው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

ዓይኗን ስትከፍት ገበየሁ እዚያው ቆሟል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሊናገር ነው።

"እርግጠኛ ነኝ" አለች ጮክ ብላ፣ ገበየሁን እያየች። "ሄደዋል። አትደርስባቸውም።"

ሮቤል ራሱን ጉልበቷ ላይ ጥሎ እንደ ሕፃን አነባ። ቀኝ እጁ ግን ተጨብጦ መሬቱን ይደበድባል። ሃረገወይን የተላጠ መዳፏን በጡጫው ላይ ጫነችና ጣቶቹን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች።