ከውጭ የሚቆለፍ በር

እናቴ ዓይኗን ካጣች ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር፤ ግን ግቢያችን ውስጥ አዲስ ተከራይ ሲገባ ይህን ለማወቅ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ጠዋት ተነስታ፣ ባልዲዋን አንጠልጥላ፣ ማንንም ሳትጠራ ቧንቧው ድረስ ትሄዳለች። ከደጃችን እስከ ቧንቧው አስራ ስድስት እርምጃ ነው። ከዚያ ወደ ግራ ስምንት፣ መጸዳጃ ቤት። ልብስ አጥባ ታሰጣለች፤ የትኛው ሸሚዝ የኔ፣ የትኛው የእሷ እንደሆነ በአዝራሩ ትለያለች። አከራያችን እንዳትደናቀፍ ብለው ከበራችን እስከ ቧንቧው ገመድ አስወጥረውላት ነበር። እናቴ ግን ገመዱን የምትይዘው አከራያችን ደጅ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው።

«ለፍታ አስወጥራልኝ ዝም ብዬ ባልፈው ቅር አይላትም?» ትለኛለች።

በወጣትነቷ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ሰውን ከፊቱ በፊት በድምፁ ነው የምታውቀው። ከሥራ ስገባ ገና «እንደምን ዋልሽ» ስላት ቀኔ እንዴት እንዳለፈ ታውቃለች። እሷን መዋሸት አስቸጋሪ ነበር።

እኔ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ድርጅት ውስጥ ኮሌታ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ። ኪስ የሚሰፋው ሌላ፣ እጅጌ የሚገጥመው ሌላ። ከቤታችን በእግር ሃያ ደቂቃ ስለሆነ ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ብዬ አያት ነበር። እሷ ደግሞ «ልትቆጣጠሪኝ መጣሽ?» እያለች ታባርረኛለች።

ሰፈራችን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሰፈር ነበር። ከዚያ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የባቡር ጣቢያ ተከፈተ። ከጣቢያው ቀጥሎ መስታወት የለበሰ ሕንፃ በቀለ፤ ከሕንፃው ቀጥሎ ደላሎች በቀሉ። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ዕቃቸውን እየጫኑ ሄዱ። እናቴ የጭነት መኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር «ዛሬ ደግሞ እነማን ናቸው?» ትለኛለች፤ እነግራታለሁ። «እኛስ?» ብላ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ከአከራያችን ጋር አስራ አንድ ዓመት አብረው ፀሐይ ሞቀዋል፤ ባሎቻቸውን አብረው አምተዋል። ሁለቱም ባሎች ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሐሜቱ ግን አላለቀም ነበር።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ አከራያችን መጡ።

«አረማመድሽ ከብዷል፤ ምን ሆነሻል?» አለቻቸው እናቴ፣ ገና በሩን ሳያልፉ።

«ጉልበቴ ነው።»

«ጉልበትሽን ሲያምሽ ግራውን ነው የምትጎትቺው። ዛሬ ሁለቱንም ነው። ተናገሪ።»

አከራያችን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የቀሚሳቸውን ጠርዝ ሲያጣጥፉና ሲዘረጉ ቆዩ። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም።

«ልጆቼ ናቸው፣ እህቴ» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ሁሉ በዚህ ዋጋ ሲያከራይ አንቺ ብቻ ለምን ትታለያለሽ አሉኝ። ከመጪው ወር ጀምሮ…» ብለው ዋጋውን ነገሩን።

ከእጥፍ በላይ ነበር። ደሞዜን ሳልነካው ባስረክብም አይሞላም።

«እትዬ፣ ትንሽ ጊዜ እንኳ…» አልኩ።

«ልጄ፣ በኔ እጅ ቢሆን እምላለሁ… ቤቱን በስማቸው ካዞርኩት ሁለት ዓመቴ ነው። እኔ እዚህ ግቢ ውስጥ ተቀማጭ ነኝ እንጂ አዛዥ አይደለሁም።»

እናቴ «እንግዲያውስ አንቺም ተከራይ ነኝ በያ!» ብላ ሳቀች። አከራያችን ሳቁን ለመከተል ሞከሩና አልቻሉም፤ አለቀሱ። እናቴ እጃቸውን ፈልጋ ይዛ ታባብላቸው ጀመር። ልንባረር ያለነው እኛ፣ የሚጽናኑት እሳቸው። ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን የሚቆጡት ሰው እያለቀሰ እንዴት ይቆጡታል?

ቤት ፍለጋ ከደላላ ጋር ዞርኩ። ደላላው ሁለት ስልክ ይዞ በሁለቱም በአንዴ የሚያወራ ወጣት ነው። የመጀመሪያውን ቤት ባለቤት የጓሮውን አበባ ውሃ ሲያጠጣ አገኘነው።

«ስንት ናችሁ?»

«እኔና እናቴ ብቻ።»

«በጣም ጥሩ። ጨዋ ሰው ነው የምፈልገው።»

«እናቴ ዓይኗ አያይም» አልኩ።

የውሃ ጎማውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ብቻዋን ነው የምትውለው? ምድጃስ ትነካለች?»

«ከኔ በተሻለ።»

«ይቅርታ እህቴ። አንድ ነገር ቢፈጠር ቤቱ የብዙ ሰው ነው።»

ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛው ስለ እናቴ ምንም አልጠየቀም፤ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ብቻ ጠየቀ። ስንመለስ ደላላው «እህቴ፣ አትቀየሚኝ፤ እውነቱን እየተናገርሽ ቤት አታገኚም። መጀመሪያ ትግባ፣ ከዚያ ዓይኗ ይጥፋ» አለኝ። እንዲያ ስቄ አላውቅም። ከዚያ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ጫማዬን የማስተካክል መሰልኩ።

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው አቅማችን የሚችለው ተገኘ። ከከተማው ዳርቻ፣ ከሥራ ቦታዬ ሁለት አውቶቡስ፣ ተጀምሮ ያልተጨረሰ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ደረጃው መደገፊያ የለውም። ኮሪደሩ በአንድ ወገን ክፍት ነው፤ ግንብ ሊሠራበት በታሰበበት ቦታ ላይ እርቃኑን የቆመ ብረት አለ፤ በብረቶቹ መሃል ሰው ቀርቶ አልጋ ያልፋል። ይህንን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼ ውሉን ፈረምኩ።

የገባን ዕለት እናቴ ጫማዋን አውልቃ ወለሉን በእግሯ ዳሰሰችው። «ሲሚንቶው ገና ይላጣል» አለች። ከዚያ ክፍሉን ለካችው፤ ከአልጋው እስከ በሩ አምስት። «ቀላል ነው፤ በሳምንት እለምደዋለሁ።» ኮሪደሩን እጇን ይዤ አሳየኋት። መጸዳጃው በኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። ነፋሱ ከክፍቱ ወገን ሲመታት እርምጃዋን ገታችና «እዚህ ጋ ምንድነው ያለው?» አለች።

«ምንም» አልኳት።

«ምንም እንደሌለማ ሰማሁት» አለች ቀስ ብላ፣ እጄንም ጠበቅ አደረገችው።

በማግስቱ ገመድ ገዝቼ በግድግዳው በኩል እስከ መጸዳጃው ወጠርኩ። አራት ቀን ሠራ። በአምስተኛው ቀን ላይኛው ፎቅ ላይ የሚሠሩ ግንበኞች ብሎኬት ሲያመላልሱ አሰናከላቸውና የሕንፃው ዘበኛ ፈታው። ለኔ የነገረኝ የለም፤ ለእናቴም የነገራት የለም።

ስልኬ ሲጠራ የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ፤ ኮሌታው ግማሽ ድረስ ተሰፍቷል። ከጎናችን ያለችው ክፍል ተከራይ ናት።

«ነይ! ቶሎ ነይ! ደህና ናት፣ ግን ነይ!»

መኪናዬን ሳላጠፋ ስሮጥ አለቃችን ከኋላዬ ሲጣራ ሰማሁት። ሁለት አውቶቡስ። የአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ መንገድ። ስደርስ እናቴ ኮሪደሩ ላይ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ተቀምጣለች፤ ጎረቤታችን እጇን ይዛታለች። ገመዱን ስትፈልግ አቅጣጫ ስታ በብረቶቹ መሃል አንድ እግሯን ባዶ ላይ አሳርፋ ነበር። ጎረቤታችን ከኋላ በቀሚሷ ጎትታ ነው ያተረፈቻት። ቀሚሷ ከብብቷ እስከ ወገቧ ተተርትሯል።

«ይሄን ትሰፊዋለሽ» አለችኝ እናቴ። ለመቀለድ ነበር። ጀርባዋን ግን ከግድግዳው አላላቀቀችም፤ እናቴ ስትፈራ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ አለቃችን ጠርቶ «ሥራሽን እወደዋለሁ፤ ኮሌታሽ እንከን የለውም። ግን ሁለተኛ ጥለሽ ከሄድሽ አትመለሺ» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። በር ላይ ሥራ ፈላጊ ተሰልፎ ይውላል።

ቅዳሜ ከሰዓት የድሮው ግቢ ሄድኩ። በእኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ወጣቶች ገብተዋል፤ ሞተር ብስክሌታቸው ደጃችን ላይ ቆሟል። አከራያችን አቅፈውኝ አልለቅ አሉ። የሆነውን ነገርኳቸው። አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሰሙኝና «እሷን አምጪያት!» አሉኝ። «ከኔ ጋር ትተኛለች። አልጋዬ ለሁለት ይበቃል። አንቺ እሑድ እሑድ እየመጣሽ ታያታለሽ። ኪራይ ምናምን እንዳትይኝ!»

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ድካሙ አልተሰማኝም። ለእናቴ ስነግራት ከድሮው ግቢ ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። «ታንኮራፋለች እኮ፤ እንዴት እተኛለሁ?» እያለች ሦስት ቀሚስ አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተች።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የአከራያችን ትልቋ ልጅ ደወለችልኝ። ድምጿ ትሑት ነበር። «እማማን በጣም ነው የምንወዳት፤ ይህንን እወቂልን። ግን እናታችንም አቅም የላትም። ነገ አንዷ ብትወድቅ ሌላዋ አታነሳት። ኃላፊነቱን አንችለውም። እናታችን እሺ ያለችው ሳታስብ ነው።»

«ራሳቸው ይንገሩኝ» አልኩ።

«ተኝታለች» አለች ልጅቷ። ከኋላዋ የአከራያችን ሳል ይሰማኝ ነበር።

ማታ ስገባ እናቴ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። «እንደምን ዋልሽ» ብቻ ነው ያልኩት። እጇን ፌስታሉ ውስጥ ከትታ ቀሚሶቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። ስለዚያ ነገር ሁለተኛ አላነሳንም።

እራት በልተን ስንጨርስ «ነገ ቁልፍ ግዢ» አለችኝ።

«የምን ቁልፍ?»

«ከውጭ የሚቆለፍ። ስትሄጂ ትቆልፊብኛለሽ።»

«አላደርገውም! እስረኛ ነሽ እንዴ?»

«ስሚኝ። እኔ ራሴን አውቃለሁ። በሩ ክፍት ከሆነ እወጣለሁ። ዛሬ አልወጣም ብዬ እምላለሁ፣ ረፋድ ላይ እወጣለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንንም ሳላስቸግር የኖርኩት እየወጣሁ ነው። አሁን ብወጣ እሞታለሁ፤ አንቺም ሥራሽን ታጪያለሽ። ቆልፊብኝ።»

«እማ…»

«ባልዲውን ከአልጋው ግርጌ፣ ውሃውን ከራስጌ አድርጊልኝ። ምድጃውን አላቅቂው።»

ገዛሁት። የመጀመሪያው ጠዋት ቁልፉን ካዞርኩ በኋላ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከውስጥ «ሂጂ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል» አለችኝ። ጎረቤታችን በራፏ ላይ ሆና አየችኝና ፊቷን አዞረች። ስድብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

አሁን ስምንተኛ ወራችን ነው። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ክፍሉ ውስጥ ትመላለስ ነበር። ከዚያ መመላለሱን ተወች። ከዚያ መቀመጥም ሰለቻት፤ ስወጣም ተኝታ፣ ስገባም ተኝታ ነው የማገኛት። ሬዲዮ ገዛሁላት፤ ባትሪው አላለቀም። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። ጤና ጣቢያ ወስጄያት ሐኪሙ «በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትራመድ» ብሎ ጻፈ። ደረጃውን አውርዶ የሚያወጣት ሰው ስለማይገኝ ሁለተኛ አልወሰድኳትም። አንዳንዴ ልቀልድላት እሞክራለሁ፤ አከራያችንን እየመሰልኩ ስለ ሟች ባላቸው አወራላታለሁ። ፈገግ ትላለች፤ ለኔ ብላ።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ሁሉም በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ሕንፃው መደገፊያ ሊገባለት፣ ቀለም ሊቀባ ነው። ስለዚህ ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራዩ ይጨምራል።

ወረቀቱን ስገነጥለው እናቴ ከውስጥ ሰማችኝ። ከፍቼ ስገባ «ምንድነው የቀደድሽው?» አለች። መዋሸት አልቻልኩም፤ አነበብኩላት። ጎረቤቶቻችን ኮሪደሩ ላይ ተሰብስበው ይጮኻሉ፤ የአንዲቱ ልጅ ታለቅሳለች። እኔ ደላላው ጋ ደወልኩ። ገና ሰላም ሳልለው ማን እንደሆንኩ አወቀኝ።

«አለ፤ አንድ አለ» አለኝ። «ከእናንተም ወዲያ ነው፤ አውቶቡሱ እዚያ አይደርስም። ግን በዋጋው አትማረሪም። እሑድ ጠዋት ላሳይሽ።»

«እሺ» ብዬ ዘጋሁት።

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኝታ ነበር። የተኛች መስሎኝ ጫማዬን ማውለቅ ስጀምር «ስንተኛ ፎቅ ነው?» አለችኝ።

አልጠየቅኩትም ነበር። መልሼ ልደውልለት ስልኬን አነሳሁና አስቀመጥኩት። ምድር ቤት ነው ቢለኝም፣ አሥረኛ ፎቅ ነው ቢለኝም መልሴ ያው «እሺ» ነው።