አጃው እንደ ቅንጬ

አንዳርጋቸው ጎንደር ውስጥ የሒሳብ መምህር ነበር። በ1970 ዓ.ም. የካቲት ላይ በኅቡዕ ድርጅት አባልነት ተጠርጥሮ ታሰረ፤ እስር ቤት ውስጥ መንጋጋውን በጠመንጃ ሰደፍ ሰበሩት። አጥንቱ ሐኪም ሳያየው እንደተንጋደደ ገጠመ። መስከረም ላይ፣ ለአብዮቱ በዓል ከተለቀቁት እስረኞች ጋር ሲወጣ አፉ ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም፤ የላይና የታች ጥርሱም አይገናኝም። ሚስቱ በላይነሽ አንድ ወር አስታመመችው። ጥቅምት ላይ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሱዳን ከሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ጋር ተቀላቅለው በመተማ በኩል ወጡና ገዳሪፍ ገቡ።

ከከተማው ዳር፣ ሐበሾች በሚበዙበት ሰፈር አንዲት የሣር ጎጆ ተከራዩ። በላይነሽ የአንድ ነጋዴ ቤት ልብስ አጣቢ ሆነች። አንዳርጋቸው ጎጆው በር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ሲናገር ቃሉ እየተጣበቀ ስለሚወጣ ከበላይነሽ በቀር የሚሰማው አልነበረም። ሰው ሲመጣ እሱ ይናገራል፣ እሷ ትደግመዋለች።

ሰው ደግሞ ይመጣ ነበር። ከጎንደር የሸሹ ወጣቶች፣ ባሎቻቸውን ያጡ ሴቶች፣ እሑድ እሑድ ሊጠይቁት ይመጣሉ። መንጋጋውን እያዩ «አፉን ሰበሩት እንጂ አላስከፈቱትም» ይላሉ። አንዳርጋቸው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። በላይነሽ ከትሕትና ትቆጥረው ነበር።

የከተማው ሐኪም አጥንቱ አሁን እንደማይቃና ነገራቸው። «የማይታኘክ ነገር ይብላ፤ እንዳይከሳ ጠብቂው» አላት። በዚያው ሰሞን የስደተኛ እርዳታ ሲታደል ለበላይነሽ ግማሽ ጆንያ አጃ ደረሳት፤ አገሬው ሹፋን ይለዋል። አጃ አዲስዋ አልነበረም፤ ወገራ፣ እናቷ ቤት፣ ለአራስ አጥሚት ሲሠራበት አይታለች። ይሄኛው ግን የተዳመጠ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳ ነው። ደስ አላት። ለጥርስ አልባ ሰው የተሠራ እህል መሰላት።

በውኃ ቀቅላ፣ አማስላ፣ በረድ ሲል አቀረበችለት። አንድ ማንኪያ ወሰደ። ጥቂት ቆየና በከንፈሩ ጠርዝ መልሶ አወጣው።

«ምነው? ጨው በዛበት?»

«ንፍጥ ነው» አላት።

«ኧረ አጃ ነው፤ ተው እንጂ።»

«ሳልውጠው ይወርዳል። አፌ ውስጥ መኖሩን አላውቀውም።»

አንዳርጋቸው ድሮ ጠንካራ ነገር ወዳድ ነበር። የኮቱ ኪስ ከገብስ ቆሎ ተለይቶ አያውቅም፤ ከዳቦ ጠርዙን፣ ከቂጣም የከረረውን ይመርጥ ነበር። በላይነሽ በተጋቡ ሰሞን «መጋዝ ነው ያገባሁት» እያለች ትስቅበት ነበር። አሁን ያ አፍ የሚሠራው አጥቶ የሚያሟልጭ ነገር ሲገባበት ከእስር ቤቱ ይበልጥ የሚያዋርደው ይመስል ነበር።

እሷ ግን አልተወችም። ስኳር ጨመረችበት፤ ጣፋጭ ንፍጥ ሆነ። በነጠላ ጫፍ አጥልላ ቀጭኑን ልታጠጣው ሞከረች፤ እንደ ተልባ ክር እየሳበ ከኩባያው አልላቀቅ አለ። አቡክታ ቂጣ ጋገረችው፤ መንከስ አልቻለም፤ ሻይ ውስጥ ሲነከር ተመልሶ ያው ሆነ። ልብስ የምታጥብላት ባሕሪያ የነጋዴው ሚስት ናት፤ ደግ ሴት ነበረች፤ በወተትና በሄል የሚሠራበትን ዘዴ አሳየቻት። አንዳርጋቸው ስለ በላይነሽ ብሎ ሦስት ማንኪያ ዋጠና ውጭ ወጥቶ አስመለሰው። በወተትና በሻይ ብቻ እየኖረ ታኅሣሥ አለቀ። ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሳችለት።

አሰጋሽን ያገኘቻት ጥር ላይ፣ እንደገና እርዳታ ሲታደል ሰልፍ ላይ ነው። ከአዘዞ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነበር፤ ረዘም ያለች፣ ጥቁር የለበሰች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት። ከኋላቸው የቆሙት ሴቶች አጃውን ለፍየል እንደሚሰጡት ሲያወሩ በላይነሽም የባሏን ነገር አነሳች።

«አሠራሩ ነው እንጂ እህሉ ምን አጠፋ» አለች አሰጋሽ። «እኔ ባለቤቴ እንዲህ የሚልመጠመጥ ነገር አይወድም ነበር። ለሱ ስል የተማርኩት አለ። ነገ እመጣለሁ።»

በማግስቱ መጣች። አጃውን በደረቁ ብረት ምጣድ ላይ ቆላችው፤ ሽታው እንደ ገብስ ቆሎ ጎጆውን እስኪሞላ ድረስ። ሲቀዘቅዝ ሙቀጫ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ብቻ መታ መታ አደረገችው። «እንዳይደቅ፤ ከደቀቀ ጉዱ ይመለሳል» አለች። ከዚያ ጥቂት ውኃ ከነጨው አፈላች፤ ሲንተከተክ አጃውን በተነችበትና ወዲያው አውርዳ ከደነችው።

በላይነሽ ልታማስለው እጇን ሰደደች።

«አትንኪው። ሲማሰል ነው የሚላቆጠው። በእንፋሎቱ ይድረስ።»

ክዳኑ ሲነሣ ፍሬው ለየብቻው ተቀምጧል፤ ቅንጬ ነው የሚመስለው። የተቆላ ሰሊጥ ወቅጣ ነሰነሰችበት፣ ዘይትም ጠብ አደረገችበት።

አንዳርጋቸው ማንኪያውን እንደ መድኃኒት ተቀበለ። ከዚያ ቆም አለ። ምላሱ ፍሬውን ወደ ላንቃው ሲገፋ፣ ሲጨፈልቅ፣ ሌላውን ሲፈልግ ጉንጩ ላይ ይታይ ነበር። ረጅም ጊዜ ፈጀበት። ሲውጥ አንድ ነገር አለ።

«ምን አለ?» አለች አሰጋሽ።

በላይነሽ እንባዋ መጥቶ ነበር። «ይቆጠራል ይልሻል። አንድ፣ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል።»

ያን ቀን ሳህኑን ጨረሰ። ከዚያ በኋላ በላይነሽ ራሷ ጠዋትና ማታ እየሠራች፣ እሑድ እሑድ ደግሞ አሰጋሽ እየመጣች፣ አንድ ወር ሙሉ በላ። ፊቱ ሞላ። ለሰፈሩ ልጆች ሒሳብ ላስተምር እያለ ያወራ ጀመር። በላይነሽ ያን ወር በኋላ ስታስበው፣ ከጎንደር ከወጣች ወዲህ እንቅልፍ የተኛችበት እሱ ብቻ ነበር።

የካቲት ውስጥ በአንዱ እሑድ እሱ እየበላ ሴቶቹ ያወሩ ነበር። በላይነሽ ስለ አሰጋሽ ባል እስከዚያ ቀን ጠይቃት አታውቅም፤ ጥቁሩ ልብስ በቂ ነበር። ያን ቀን ግን አሰጋሽ ራሷ «ነገ ዓመቱ ነው» አለች።

«የባለቤትሽ?»

«አዎ። ዳምጤ ይባላል። ቅዳሜ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ውስጥ ለድርጅቱ ሰዎች መልእክት ያቀባብል ነበር አሉ፤ እኔ ብዙም አላውቅ። አንድ የተያዘ ሰው ጠቆመው። አስከሬኑንም አልሰጡኝ።»

የአንዳርጋቸው ማንኪያ ሳህኑ ላይ ዐረፈ። ጠገብኩ የሚል ምልክት አሳየና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

በማግስቱ አልበላም። በላይነሽ አጃው አሮባት መሰላትና እንደገና ሠራች። አልነካውም። አቆላሉን ቀነሰችው፣ ጨመረችው፣ ሰሊጡን ትታ ኦቾሎኒ ወቀጠችበት። በአምስተኛው ቀን ጭንቅ ቢላት አሰጋሽ ዘንድ ሄደች። አሰጋሽ ከራሷ ድርሻ አጃ ሠርታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ሙቀቱ ሳይወጣ ይዛ መጣች። አንዳርጋቸው አጃውንም እሷንም አላየም።

አሰጋሽ ከሄደች በኋላ በላይነሽ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ደግሞ ንፍጥ ሆነብህ?»

አይደለም ሲል ራሱን ነቀነቀ።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ንገረኝና ላድርግ።»

«ዳምጤን የጠቆምኩት እኔ ነኝ» አላት።

የሰማችውን ያልሰማች መስሏት አስደገመችው። ደገመላት። ሦስት ቀን ሙሉ ገልብጠው እግሩን ሲገርፉት እንዳልተናገረ፣ በአራተኛው ቀን ግን የልብስ ሰፊውን ስም እንደሰጠ ነገራት። መንጋጋውን የሰበሩት ከዚያ በኋላ፣ ሌላ ስም ሲፈልጉ ነው። ሌላ አልሰጠም። አንዱን ግን ሰጥቷል።

«እሷ አታውቅም» አለች በላይነሽ። «ማንም አያውቅም። ብትነግራት ባሏን አትመልስላት። ተወው፤ ብላና ኑር።»

«በእጇ እያጎረሰችኝ?»

«በኔ እጅ ብላ። እንዳትመጣ አደርጋለሁ።»

«እሑድ እነግራታለሁ» አለ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አሰጋሽ ሰሊጥ በቆርቆሮ ይዛ መጣች። ወደ ምድጃው ስታልፍ አንዳርጋቸው ጠራት፤ አጠገቡ ያለውን ዱካ በእጁ አሳያት። ተቀመጠች። ቀጥሎ የተናገረው አልገባትም፤ እንደ ልማዷ ወደ በላይነሽ ዞረች።

በላይነሽ የፈለገችውን ልትል ትችል ነበር። እጅሽ ይባረክ አለሽ ብትላት አሰጋሽ ታምናት ነበር። ግን አንዳርጋቸው ዓይኑን ከሚስቱ ላይ አልነቀለም።

«ጋረደው የሚባል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ ወይ ይልሻል» አለች።

«የዳምጤ ጓደኛ ነዋ። የድርጅት ስሙ ነው እንጂ መልኩን አላውቀው።»

«ጋረደው እኔ ነኝ ይልሻል።»

የአሰጋሽ ፊት በራ። የአንዳርጋቸውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «እንዴት እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ? ዳምጤ እኮ ስላንተ…» ብላ የቀረውን ሳትጨርስ እሱ መናገር ጀመረ። በላይነሽ እስኪያበቃ ጠበቀች። ከዚያ ዓይኗን መሬቱ ላይ አድርጋ ቃል በቃል ደገመችው።

«ዳምጤን የጠቆምኩት እኔ ነኝ ይልሻል።»

አሰጋሽ እጁን ወዲያው አልለቀቀችውም። መያዟን የረሳች ትመስል ነበር።

«በስንተኛው ቀን ተናገርክ?» አለችው።

አራት ጣቱን አሳያት።

«አራት» አለች። ስትቀጥል ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አንተ በተያዝክ ለት ዳምጤ ከቤት ወጥቶ ዘመድ ቤት ተደበቀ። ሦስት ቀን ጠበቀ። በአራተኛው ቀን ተመለሰ። አትግባ አልኩት። ጋረደው የሚናገር ቢሆን እስካሁን ተናግሮ ነበር፤ እሱን እኔ አውቀዋለሁ አለኝ፤ እኔም እስከ ዛሬ አምኜው ነበር። ውኃ አሙቄለት እግሩን እየታጠበ ሳለ ነው የመጡት።»

አንዳርጋቸው አንድ ነገር አለ። በላይነሽ ልትደግመው አፏን ከፈተች።

«አትድገሚልኝ» አለች አሰጋሽ። ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። ለበላይነሽ «ደኅና ዋይ እህቴ» ብላት ወጣች። በማግስቱ በጠዋት ሎሪ ወደ ከሰላ መሄዷን የሰፈር ሰው ነገራቸው።

ከዚያ ወዲህ አንዳርጋቸው እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። በላይነሽ ለመነችው፤ ተቆጣችው፤ አንድ ቀን አፉን በጣቷ ልትከፍት ታግላው ከንፈሩን አደማችው። ያን ለት ሁለቱም አለቀሱ። ባሕሪያ ወተት ትልክ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ይጎነጫል፣ አንዳንድ ቀን ይተወዋል። ሐኪሙ አስተኝቶ በመርፌ ውኃ ሰጠው። ሲወጣ ያው ነበር። ግንቦት ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጥቁሩን አፈር ጭቃ ባደረገ ሳምንት ሞተ።

ሬሳውን ያወጡት እሑድ እሑድ ሊጠይቁት የሚመጡት ሰዎች ናቸው። አንደኛው መቃብሩ ላይ ስለ ጽናቱ ተናገረ። በላይነሽ አላቋረጠችውም። የምታርመው ለማን ብላ ነው?

ገዳሪፍ ቀረች። ወደ ጎንደር መመለሻ አልነበራትም፤ ልብስ ማጠቡንም ቀጠለች።

ሁለት ዓመት አልፎ ለስደተኛ ወረቀት ሾዋክ ከተማ ሄዳ ሳለ፣ አውቶቡስ መቆሚያው ዘንድ ከሰዉ መሐል አሰጋሽን አየቻት። አሰጋሽም አየቻት። ሁለቱም ዘወር ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ግን አሰጋሽ መጥታ ሳመቻት። ስለ ጤና፣ ስለ ሙቀቱ ተጠያየቁ።

«እሱስ?» አለች አሰጋሽ።

«ዐረፈ። በዚያው ዓመት፣ ግንቦት ላይ።»

«ምን አግኝቶት?»

«እህል እምቢ ብሎ።»

አሰጋሽ ወደ መንገዱ ተመለከተች። «እንዲሞት አልፈለግሁም ነበር» አለች። «እንዲኖርም አልፈለግሁ። ምን እንደፈለግሁ እስከ ዛሬ አላውቀውም።»

በላይነሽ «አንድ ቀን ተመልሰሽ እህል ብላ ብትዪው ኖሮ» ልትላት ፈልጋ ነበር። አላለችውም። ያ ቃል ከአሰጋሽ የሚጠየቅ እንዳልነበረ ታውቃለች። ማንን መጠየቅ እንዳለባት ግን አታውቅም።

የከሰላው አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ። አሰጋሽ እንደገና ሳመቻትና ገባች። በላይነሽ ወደ ስደተኞቹ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ጸሐፊው ለምሳ ወጥቷል፤ በሩ ተዘግቷል። ከሌሎቹ ጋር ግንቡ ጥላ ሥር ተቀመጠች፤ ተራዋን መጠበቅ ጀመረች።