ያልተጠየቀው ምስክር

ሱመይራ ሸምሰዲንን ዲላ ላይ «የወንዟ ጠበቃ» ይሏታል። ግማሹ ሊያከብራት፣ ግማሹ ሊስቅባት ነው። አባቷ ከስልጤ መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። ልጁ ሕግ ተምራ ስትመለስ የንግድ ውል እየጻፈች፣ ውርስ እያካፈለች በሰላም ትኖራለች ብሎ እንዳመነ ሞተ። እሷ ግን ቡና ማጠቢያዎች ወንዝ ውስጥ የሚለቁትን ፍሳሽ ስታሳድድ ከከተማው ባለሀብት ጋር ዓይንና ናጫ ሆና ቀረች።

ያም ሆኖ አሸንፋ አታውቅም። አንዱ ክስ በማስረጃ እጦት ወደቀባት። በሌላው ደግሞ የወከለቻቸው ከሳሾች ከተከሳሹ ጋር በሽማግሌ ታርቀው ኖሮ ችሎት ፊት ብቻዋን ቆማ ተገኘች። ዳኛው በትዝብት ሲያዩአት የተሰማትን እፍረት ለማንም አልነገረችም።

ኤልቤቴል የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ከይርጋጨፌ ወዲያ ካለች አንዲት ቀበሌ ልጇን አዝላ መጣች። ቢሮ ገብታ እንደተቀመጠች የልጁን ሸሚዝ ገለበችና ጀርባውን አሳየቻት። ቆዳው ተልጦ፣ እዚህም እዚያም ቆስሏል።

«ቡና ሲደርስ ወንዛችን ትጠቁራለች» አለች ጌዴኦኛ በሚጫነው አማርኛዋ። «ትሸታለች። ከብቱ አፍንጫውን አስጠግቶ ይመለሳል። እኛ ግን ወዴት እንመለስ?»

ከመንደሯ በላይ የአቶ ተክለማርያም ቡና ማጠቢያ አለ። እሸት ቡናው ሲፈለፈል የሚወጣው ልጣጭና ቡናው የታጠበበት ውሃ በጉድጓድ ተጠራቅሞ መቅረት ነበረበት። ጉድጓዱም አለ። ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ሞልቶ፣ የማፍሰሻው መዝጊያ ተቆልፎ ይገኛል። ወንዙ ግን እንደጠቆረ ነው።

ሱመይራ ሕጉ እንደሚያዘው መጀመሪያ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አመለከተች። መልስ ስታጣ ከሰሰች። ክሱ ከቀጠሮ ቀጠሮ ሲጎተት ዓመቱ ዞረ፤ እሸት ቡና ዳግመኛ ቀላ። ዳኛው በመጨረሻ የጠየቋት አንድ ነገር ነው፤ ፍሳሹ ከዚያ ጉድጓድ ሲለቀቅ ያየ ሰው ማን ነው?

ያየ ሰው ሞልቷል። የሚናገር ግን ጠፋ። የመንደሩ ሰው እሸቱን የሚሸጠው እዚያው ነው፤ ልጆቹም በወቅቱ እዚያው ተቀጥረው ቡና ይለቅማሉ። ሱመይራ ከቤት ቤት ስትዞር ሁሉም በአክብሮት ይቀበሏታል፤ ስለ ጉድጓዱ ስታነሳ ግን ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራሉ።

አንድ አርብ፣ ወንድሟ ሙከሚል ከጁምዓ መልስ እናታቸው ቤት ለምሳ መጣ። ሙከሚል ታላቋ ነው። የአባታቸውን አይሱዙ ይነዳል፤ በቡና ወቅት ከባንኮ ጎቲቲ፣ ከአሪቻ፣ ከየገጠሩ እሸት እየጫነ ለማጠቢያዎች ያደርሳል። እናታቸው ሀምዲያ ውሃ ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትገባ ሙከሚል ራሱን ነቀነቀ።

«የአቶ ተክለማርያም ነገር ወላሂ ይገርማል» አለ እየሳቀ። «አንቺ በፍርድ ቤት ትለፊያለሽ፤ እሱ ማለዳ ጉም ሳይገለጥ መዝጊያውን ያስከፍታል። ወረፋ ይዤ መኪናዬ ውስጥ ስተኛ ሽታው ነው የሚቀሰቅሰኝ። ጉድጓዱ ጎድሎ ግማሽ ሲደርስ ይዘጉትና በቧንቧ ንጹሕ ውሃ ይሞሉታል።»

የሱመይራ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ።

«በዓይንህ አይተሃል?»

«በዓይኔ ነው እንጂ፤ አንድ ቀን መቼ ሆነና!» አለና ወሬውን ወደ ጎማ ዋጋ አዞረው።

ያን ሳምንት ሱመይራ እንቅልፍ አጣች። ወንድሟን ቀርባ ልትጠይቀው አስባ ሁለት ጊዜ ስልኳን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። እምቢ እንደሚል ታውቃለች። እምቢ ካለ በኋላ መጥሪያ ብትልክበት ደግሞ ግልጽ ጠብ ነው። ሳይጠየቅ ቢጠራ ግን ሕግ ጠራው እንጂ እህቱ ጠራችው አይባልም። እንዲህ ብላ ራሷን አሳመነች። የልጁ ጀርባ ዓይኗ ላይ ነበር፤ ችሎት ብቻዋን የቆመችበት ቀንም እንደዚያው።

መጥሪያው ሙከሚልን ያገኘው ዱመርሶ መንገድ ላይ፣ መኪናውን ሲጭን ነው። ጫኚዎቹና የሌሎች መኪኖች ሾፌሮች እያዩ ፈረመ። ማታ እናቱ ቤት መጥቶ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሱመይራን አላያትም።

«እማዬ፣ እዚህ ቤት ምሳ ስበላ የምናገረው ለፍርድ ቤት መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

ሀምዲያ አንዴ ወንድ ልጇን፣ አንዴ ሴት ልጇን አየች። «ምን አድርገሽው ነው?» አለች።

«እውነቱን ይናገር እንጂ ዋሽ አላልኩትም» አለች ሱመይራ።

«የጠየቅኩሽ እሱን አይደለም።»

ሙከሚል ወጥቶ ሄደ።

በችሎቱ ቀን ሙከሚል ቁርአን ይዞ ማለ። ሱመይራ እንደ ማንኛውም ምስክር «እርስዎ» እያለች ጠየቀችው፤ እሱም እንደማያውቃት ሰው መለሰ። ምን እንዳየ፣ መዝጊያውን ማን እንደሚከፍት፣ ፍሳሹ በየት በኩል ወደ ወንዙ እንደሚወርድ፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። አቶ ተክለማርያም ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው፣ ለዓመታት እሸት ያመላለሰላቸውን ሾፌር ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩታል።

ከዚያ የተከሳሹ ጠበቃ ተነሳ። ወፍራም፣ ረጋ ያለ፣ ልምድ ያለው ሰው ነው።

«የከሳሽ ጠበቃ ምንህ ናት?»

«እህቴ።»

«የእናት ልጅ?»

«የእናትም የአባትም።»

ጠበቃው ወደ ዳኛው ዞሮ ፈገግ አለና ተመለሰ። «ታዲያ ምን በል ብላ ላከችህ?»

ሙከሚል ወደ እህቱ ዞረ። ዳኛው እንዲመልስ ነገሩት።

«ምንም አላለችኝም» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ምሳ ስንበላ ያወራሁትን ሰምታ ነው። እንደምትጠራኝም አልነገረችኝም። ባውቅ ኖሮ አፌን እዘጋ ነበር። እንጀራዬ እዚያ ነው፤ ዛሬ ከዚህ ስወጣ እሸት የሚያስጭነኝ የለም። ግን ምያለሁ። ያየሁትን አይቻለሁ።»

የጠበቃው ፈገግታ ከፊቱ ላይ ጠፋ፤ ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር ተቀመጠ። ሱመይራ ዓይኗን ወረቀቷ ላይ ተክላ ቀና ማለት አቃታት።

ዳኛው ማጠቢያው ፍሳሹን የሚያስቀር በቂ ጉድጓድ እስኪሠራ ሥራ እንዲያቆም እግድ ሰጡ። ትእዛዙ ሲነበብ አንድ ዐረፍተ ነገር ሱመይራ ጆሮ ውስጥ ተሰነቀረ። ምስክሩ ያለ ፈቃዱ የቀረበ፣ በመመስከሩም የሚጎዳ በመሆኑ ቃሉ እምነት የሚጣልበት ነው ይላል። ያሸነፈችው ወንድሟን ስለከዳችው ነበር። የሙያ ጓደኞቿ ኮሪደሩ ላይ እጇን እየጨበጡ እንኳን ደስ አለሽ አሏት። እሷ በሰው መሃል ሙከሚልን ስትፈልግ እሱ ቀደም ብሎ ሄዷል።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ መንደሩ ሄደች። ውሃው እየጠራ ነበር፤ ድንጋዮቹ ላይ የተጋገረው ጥቁር ዝቃጭ እየለቀቀ ይሄዳል። ደስ እንዲላት ግን የሰዉ ሁኔታ አልፈቀደላትም። እግዱ የወደቀው ቡናው በሚቀላበት ወቅት ነው። እሸት ወስዶ የሚሸጥበት ያጣ ገበሬ በየደጁ ሊያደርቅ አሰጣ፤ ያልተጠበቀ ዝናብ ደግሞ እያረጠበው ሻገተ። ኤልቤቴል በሯ ላይ ነበረች። አልሳቀችም።

«ልጄ ድኗል» አለች። «እግዚአብሔር ይስጥሽ። ግን ቸርች ስሄድ አጠገቤ የሚቀመጥ የለም። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ እንሰቴን ቆራርጠው ጥለውታል።»

ወደ ጓሮ ወሰደቻት። የተገነደሱት እንሰቶች ቅጠላቸው ገና አልጠወለገም። ሱመይራ ያደረገውን ሰው እንክሰስ አለች።

«ተይው ጠበቃዬ» አለች ኤልቤቴል። «ከእነሱ ጋር ነው የምኖረው።»

አቶ ተክለማርያም አዲስ ጉድጓዶች አስቆፈሩና ወቅቱ ሳያልቅ እግዱ ተነሳላቸው። ወዲያውም ትእዛዙ ከነጭራሹ እንዲሻርላቸው ይግባኝ አሉ። ሙከሚልን ግን የፈራው ሁሉ እውነት ሆኖ ጠበቀው። የመሰከረው በአንዱ ላይ ብቻ ሆኖ ሳለ በሩን የዘጉበት ሁሉም ማጠቢያዎች ናቸው። አይሱዙውን ሸጦ የሰው ከባድ መኪና ይዞ በሞያሌ መስመር መሥራት ጀመረ። ሱመይራ ስትደውል አያነሳም። እናቱ ስትደውል ያነሳል፤ ስለ እህቱ ግን አይጠይቅም።

አረፋ ሲደርስ መጣ። ጠቁሯል፣ ከስቷልም። የእርዱ ሥራ ካለቀ በኋላ ሀምዲያ ጎረቤት እጠይቃለሁ ብላ ሆን ብላ ወጣች። ሁለቱ ሳሎን ውስጥ ቀሩ። ሱመይራ ለብዙ ጊዜ ስታሰናዳው የኖረችው ንግግር ነበራት፤ አፏን ስትከፍት ግን ሁሉም ጠፋባት።

«ውሃው ጠራ ወይ?» አለ ሙከሚል ቀድሟት።

«በእነ ኤልቤቴል መንደር ጠርቷል። ከዚያ ወረድ ብሎ ካለው ድልድይ በታች ገና ይሸታል። እዚያ ሌላ ማጠቢያም አለ።»

«እሱንም ትከሺያለሽ።»

«እከሳለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «በጉዳዩ አልቀየምኩሽም» አለ። «ያ ነገር ትክክል እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት እያየሁ ዝም ብያለሁ። ብትጠይቂኝ ግን ምን ነበረበት?»

«እምቢ ትላለህ ብዬ ፈራሁ።»

«እል ይሆናል። ወይም አድሬ አስቤበት እሺ እል ይሆናል። አሁን አላውቀውም፤ መቼም አላውቀውም። አንቺ ነሽ የወሰንሽልኝ።»

ሱመይራ አለቀሰች። ሙከሚል አላባበላትም፤ ተነስቶም አልሄደም። «ይቅር በለኝ» አለችው።

«ይቅርታውን አትቸኩይበት» አለ። «እየመጣሁ እሄዳለሁ። እማዬ እኛን ብላ ጎረቤት ለጎረቤት እንድትዞር አልፈልግም።»

በማግስቱ ማለዳ ወደ ሞያሌ ተመለሰ። ሱመይራ ቢሮዋን ስትከፍት ከድልድዩ በታች ካለው መንደር የመጡ አንድ ሰው በር ላይ ይጠብቋታል። ገና ሳይቀመጡ ያዩትን ሊነግሯት ጀመሩ።

«ቆዩ አባቴ» አለች እጇን አንስታ። «የሚነግሩኝን ሁሉ ፍርድ ቤት ፊት እንዲደግሙት ልጠይቅዎት ነው። ማን እንደመሰከረበት የማጠቢያው ባለቤት ያውቃል፤ ጎረቤትዎም ያውቃል። ቤትዎ ሄደው ከሰዎችዎ ጋር ይምከሩ። ከዚያ ይምጡ።»

ሰውየው አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ባርኔጣቸውን አነሱ፣ ጥቂት አመነቱ፣ «እንግዲህ እንመካከራለን» ብለው ወጡ።

ሳምንቱ አለፈ። የአቶ ተክለማርያም ይግባኝ ቀጠሮ ደርሷል፤ ሰውየው አልተመለሱም፤ ሱመይራም መጥሪያ አልጻፈችባቸውም።