ማዘር ትቀየር

የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የማደርግበት፣ ጌምም እንደ ልቤ የምጫወትበት ኮምፒውተር ላስገጥም እናቴን ይዤ ደብረ ታቦር ገበያ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ ሐምዛ ሱቅ ገባሁ። በደስታ እግሬ መሬት አልነካ ብሏል። ቪዲዮና ጌም የሚያፈጥነውን ትልቁን ግራፊክስ ካርድ አቅፌ፣ ያለሱ ከዚህ አልወጣም አልኩ። ሐምዛ አሮጌውን ኮምፒውተሬን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይህን ካርድ ማዘር አትችለውም። አርጅታለች፤ ትቀየር!»

እናቴ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ማንን ነው የምትቀይረው? አንተ ባለጌ!»

ሳቄ አላናግር አለኝ። ሐምዛ ደንግጦ ማዘርቦርዱን ነቅሎ አሳያት።

«እትዬ የሺ፣ ይቺን ነው! ሁሉም ዕቃ የሚሰካው እሷ ላይ ነው። እሷ ከደከመች ሁሉም ይቆማል።»

እናቴ ቦርዱን ተቀብላ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

«ስሟንስ አውቀው ነው ያወጡላት» አለች። «በል፣ ለልጄ ጠንካራዋን ስጣት። ይቺ አሮጊት ግን ከእኔ ጋር ቤት ትገባለች።»