ከክሮሙ ሥር

ካሣዬ ክሮም ይወዳል ማለት ያንስበታል፤ ያመልከዋል ቢባል ይቀላል። አዘዞ ውስጥ፣ ከሚኒባስ ተራው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአሮጌ መኪና የውስጥ ጌጥ፣ ያን የሚያብረቀርቅ ልባስ የለበሰውን ብረት ሁሉ፣ ሲያድስ ኖሯል። የበር መክፈቻ፣ የመስኮት ማዞሪያ፣ የሲጋራ መተርኮሻ ክዳን፣ ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ የሚጋደሙት ቀጫጭን የብረት መስመሮች፣ ሁሉም በእጁ ያልፋሉ። ሌላው ባለሙያ «ጣለውና ፕላስቲክ ግጠምበት» የሚለውን እሱ በብርጭቆ ወረቀትና በጨርቅ አሽቶ አሽቶ ፊት እንዲያሳይ አድርጎ ይመልሰዋል። ጢሙን የሚላጨው በሠራው ዕቃ ላይ እያየ ነው ብለው ጎረቤቶቹ ያሙታል። ሐሜቱ እውነት ነው።

የዩኒቨርሲቲው መምህር ዶክተር ህሩይ የሟች አባታቸውን ቮልስ እየነዱ የመጡት ለልጃቸው ለፅዮን ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። መኪናዋ ሰማያዊ ናት፤ ቀለሟ ደህና ነው፤ ውስጧ ግን ገርጥቷል።

«ሙሽሮቹ የሚገቡት በእሷ ነው» አሉ ዶክተሩ። «ውስጧ ያለው ክሮም በሙሉ አዲስ ይሁንልኝ። ያረጀ ነገር ማየት አልፈልግም።»

«ዓይንዎን እስኪወጋዎት አበራዋለሁ» አለ ካሣዬ። ጉራው ልክ የለውም፤ ግን ያደርገዋል።

የካሣዬ ደንብ ከሁሉ የባሰበትን ዕቃ ማስቀደም ነው። በዚያች ቮልስ ውስጥ የባሰበት ደግሞ ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ለፊት፣ ክሩስኮቱ ላይ የታሰረው መያዣ ነበር። የአንድ ክንድ ግማሽ የሚያህል ቆልመም ያለ ብረት ነው፤ መንገድ ሲያናውጥ ተሳፋሪ የሚጨብጠው። ምትኩ ከአዲስ አበባ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጥቶለታል። ሆኖም አሮጌውን ሳይሞክር አዲስ መግጠም ለካሣዬ ሽንፈት ነው። ስለዚህ ገና ሳይፈታው፣ እዚያው እንደታሰረ፣ የግራ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ያዘው። ሁለት ጣት የምታህል ቦታ ወዲያው አበራችለት።

ደስ ብሎት ወደ መሐል ሲሻገር እጁ ቆመ።

መሐሉ ላይ ክሮም የሚባል ነገር የለም። አልቋል። ከሥሩ ነሐሱ ወጥቶ ቢጫ ሆኗል። ካሣዬ ያለቀ ክሮም አይቶ አያውቅም አይባልም፤ ሺህ ጊዜ አይቷል። ግን ዘወር ብሎ የሾፌሩን በር መክፈቻ ቢያየው ደህና ነው። የካምቢዮውን ዘንግ ቢያየው ደህና ነው። ሾፌሩ በየቀኑ ከሚነካው ይልቅ ተሳፋሪ አልፎ አልፎ የሚነካው እንዴት ያልቃል? ደግሞ ያለቀው ከላይ በኩል አይደለም። መንገድ ያናወጠው ሰው መዳፉን ከላይ ጣል ያደርጋል፤ ይህ ግን ያለቀው ከውስጥ በኩል፣ ጣት ተጠምጥሞ ወደ ራስ ሲጎትት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። አራት ጣቶች፣ ጎን ለጎን። ቀለበት የጫረው የሚመስል ጭረትም መዓት ነው።

ብሎኖቹን በካቻቢቴ ሲፈታ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። መያዣው ከክሩስኮቱ ጋር በሚጋጠምበት ስንጥቅ ውስጥ እንደ ሰም የደረቀ ቡናማ ነገር ተጋግሯል። በጥፍሩ ፍቆ አሸተተው። የራስ ቅቤ ነው።

«አይ የዶክተሩ አባት!» ብሎ ብቻውን ሳቀ። «ለካ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ!»

ሳቁ ብዙ አልቆየም። የመያዣው እግሮች ያረፉበት ቦታ ላይ፣ ቀለም ቀቢው ብሩሹን ሊያደርስ ያልቻለበት፣ ሳንቲም የምታህል የድሮ ቀለም ቀርታ ነበር። መኪናዋ ሰማያዊ አልነበረችም። የድሮ ቀለሟ የእንቁላል ቅርፊት ነው።

ካሣዬ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። እዚያው የተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

እናቱን አያውቃትም። አበቡ ትባል ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ካለ መንደር ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ እስከ መንገዱ ወረደች፣ ከዚያ በመኪና ጎንደር ሆስፒታል ደረሰች፣ እሱን ወለደችና በሦስተኛው ቀን ሞተች። ፎቶ የላትም። አብራት የነበረችው ታናሽ እህቷ ብቻ ስትሆን፣ በማታውቀው ከተማ የቀበሩላት ሌሎች ነበሩ፤ በኋላ ሲፈለግ መቃብሩ ጠፋ። ካሣዬን ያሳደገችው ይህችው አክስቱ እንኳየሁ ናት። ስለዚያ ቀን ሲጠይቃት በልጅነቱም፣ ካደገም በኋላ፣ የምትነግረው አንድ ነገር ነበር፤ «እንቁላል በመሰለች መኪና ወሰድናት።»

ስልኩን አውጥቶ አምባ ጊዮርጊስ ደወለ።

«እቴቴ፣ ያቺ እናቴን የወሰደች መኪና የማን ነበረች?»

«ምነው? ዛሬ ምን አስታወሰህ?»

«ንገሪኝ ብቻ።»

«የአያ በላቸው ናታ! የጤና ጣቢያው ድሬሰር። ያኔ በዚህ አገር ከሱ በቀር ማኪና ያለው ማን ነበርና? ምጥ የጠናባትን ሁሉ ጎንደር የሚያደርስ እሱ ነበር። ነፍሱን ይማረው፣ ሸጋ ሰው ነበር።»

የዶክተር ህሩይ ሙሉ ስም ህሩይ በላቸው ነው።

«እናቴ የት ነበር የተቀመጠችው?»

«ከፊት ነዋ። የኋላው ጠባብ ነው፣ እግር አያስዘረጋም። እኔ ከኋላ ነበርሁ። አያ በላቸው ‹አበቡ፣ ይችን ብረት የቤቴ ምሰሶ ናት በይና ያዣት፣ እንዳትለቂያት› አላት። ያዘቻት። ማርያም ማርያም እያለች፣ ግንባሯን እዚያው ብረቷ ላይ አስደግፋ። ፊቷንማ መቼ አየሁት! እጇን ብቻ ነበር የማየው። እስከ ጎንደር ድረስ እጇን ብቻ።»

ካሣዬ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ተነሥቶ እጁን ታጠበ። ሠላሳ ዓመት በዘይትና በዝገት ሲነካካው የኖረውን ዓይነት ብረት ለመንካት እጁን በሳሙና ታጠበ። ከዚያ መያዣውን አንሥቶ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው። ቀድሞ ያለቀ ዕቃ ሲያይ የሚታየው ሥራ ነበር፤ አሁን ሰው ታየው። ግንባራቸውን ደፍተው፣ የተቀቡት ቅቤ እየቀለጠ በስንጥቁ ሲገባ፣ ከአምባ ጊዮርጊስና ከመላው ወገራ እስከ ጎንደር ይህችን ብረት ሲጎትቱ የሄዱ ሴቶች ሁሉ። ብረት የሚያስጨርስ ምን ዓይነት ጉልበት ነው? ስንት እጅ ነው? ሊገምት ሞከረና አልቻለም። ፈራ። ቤተ መቅደስ ውስጥ ጫማውን ሳያወልቅ የገባ ሰው እንደሚደነግጥ ደነገጠ፤ የግራ ጫፉ ላይ እሱ ያበራት ሁለት ጣት ቦታ እየሳቀችበት ነው። ያቺን ቦታ ማን ይዛት ነበር? ከዚህ ዓለም ላይ እናቱ ምልክት የተወችበት ነገር ይህ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በገዛ እጁ ሊፍቀው ጀምሮ ነበር። ዕቃውም የእሱ አይደለም። ባለቤቱ ያረጀ ነገር ማየት አልፈልግም ብለዋል።

በማግስቱ ዶክተር ህሩይ ሲመጡ ካሣዬ ምንም ሳይደብቅ ሁሉን ነገራቸው። ነሐሱን አሳያቸው፣ ጭረቱን አሳያቸው፣ የእንቁላል ቀለሟን አሳያቸው፣ እናቱንም ነገራቸው። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው መያዣውን ብዙ አገላበጡት።

«ልጅ ሳለሁ እኔ በዚህች መኪና ከፊት መቀመጥ አይሆንልኝም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አባባ ሁልጊዜ ያስወርደኛል። አንድ የገበያ ቀን መንገድ ላይ ከአንዲት ባልቴት ጋር ትቶኝ ሄደ። አለቀስሁ። ካሣዬ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እስከ ዛሬ ቂሙ አልወጣልኝም ነበር። በእኔ ቦታ የተቀመጠችው ማን እንደሆነች አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። መያዣውንም ለካሣዬ ዘረጉለት።

«አዲሱን ግጠምልኝ። ይህን አንተ ውሰደው። ያንተ ነው።»

ካሣዬ እወስደዋለሁ ቢል ማን ይፈርድበታል? ተመኘው። ከደረቱ አስጠግቶ ያዘው። ቤቱ ወስዶ ከሥዕለ ማርያሟ አጠገብ ሲሰቅለው ታየው። ግን ጣቶቹ ከነሐሱ ላይ ሲያርፉ ከስንት ሴት ጋር እንደሚሻማ አሰበ።

«እናቴ ብቻዋን አይደለችም፣ ዶክተር» አለ። «እነዚያን ሁሉ ከቤታቸው ማስወጣት ነው። ከፈቀዱልኝ እቦታው ልመልሰው። ሌላውን ሁሉ አበራልዎታለሁ፤ ይህን ግን እንዳለ እንተወው። ፅዮንም ብትይዘው ደግ ነው።»

ዶክተሩ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ካሣዬ ቅቤውን ከስንጥቁ ሳይጠርግ፣ የእንቁላል ቀለሟን ሳይነካ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ መለሰ።

ሥራው ሲያልቅ ዶክተር ህሩይ መኪናዋን በረጅም መንገድ እንሞክራት አሉ፤ ሰበብ ነው፤ የፈለጉት እንኳየሁን ለሠርጉ ራሳቸው ሊያመጧት ነው። ቅዳሜ ጠዋት አዘዞን ለቀው፣ ጎንደርን አልፈው ወደ ወገራ ወጡ። ሌላው ክሮም ፀሐይ እየመለሰ ያብረቀርቃል። ካሣዬ ከፊት ተቀምጦ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሄደ። መያዣውን ለመንካት አልደፈረም።

እንኳየሁ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ጠበቀቻቸው። መኪናዋን ዞራ አየቻት፣ በመዳፏ ዳበሰቻት፣ ቀለሟን ምነው አበላሻችሁት ብላ ተቆጣች። ዶክተሩ ከፊት ይቀመጡ ቢሏት እንቢ አለች።

«የኔ ቦታ ኋላ ነው» ብላ ገባች።

መንገዱን ሙሉ አላረፈችም። የዘንድሮው ገብስ፣ የጎረቤቷ ጥጃ፣ የአያ በላቸው ኮፍያ፣ ሁሉን ታወራለች። ቁልቁለቱ ላይ አንድ አህያ በድንገት መንገዱ ውስጥ ገባና ዶክተሩ ፍሬን ያዙ። ካሣዬ ሳያስበው ወደ ፊት ተወርውሮ መያዣውን ጨበጠ። አራቱ ጣቶቹ ያለቀው ቦታ ላይ፣ አንድም ሳትዛነፍ፣ ገብተው ተቀመጡ። ብረቱ ለስላሳና ሞቃት ነበር።

ከኋላ ወሬው ተቋረጠ።

«ካሣዬ» አለች እንኳየሁ ቆይታ። ድምፅዋ የልጅ ሆኗል።

«አቤት፣ እቴቴ።»

«እጅህን እንዳታነሣ። የሷው እጅ ነው።»

ካሣዬ እስከ ጎንደር ድረስ እጁን አላነሣም።