የዴልሲና አስር እጆች

ዴልሲና አስር እጅ ይዛ እንደምትመጣ ለወንድሟ ቃል የገባችው በሰው ፊት ነው። ሊያውም ግማሹ የዊንድዋርድ መንደር ባሕሩ ዳር ቆሞ እየሰማ።

ወንድሟ ኦገስቲን ሰባት ዓመት ሙሉ ሲጠርበው የኖረውን ጀልባ በማግስቱ ወደ ውኃ ሊያወርደው ነበር። ጀልባው ግራና ቀኝ በባላ ተደግፎ አሸዋው ላይ ቆሟል። ባለፈው ዓመት አውሎ ነፋሱ በካሪቢያን ባሕር ያለችውን የካሪያኩ ደሴት ጣራ ሁሉ እየገፈፈ ሲወስድ ጀልባው ንቅንቅ አላለም። ግን ጀልባ በራሱ እግር አይሄድም፤ የሚጎትተው ሰው ነው። ሰው ደግሞ የለም።

«ጎበዙ ሁሉ ወይ ለንደን ነው ወይ ኒው ዮርክ» አለ ኦገስቲን መጥረቢያውን እየሳለ። «እዚህ የቀረነው አንዱ ወገቡን የያዘ፣ አንዱ ጉልበቱን የያዘ ነው።»

«እኔ አስር እጅ አመጣልሃለሁ» አለች ዴልሲና።

«ከየት አባሽ?»

«ነገ በመርከብ የሚመጡ አምስት እንግዶች አሉኝ። አስጎብኚያቸው እኔ ነኝ፤ ወደምወስዳቸው ይሄዳሉ።»

ኦገስቲን መጥረቢያውን ጥሎ ሳቀ። «አምስት ቱሪስት! አስር እጅ፣ አስሩም ስልክ የያዘ!»

ሰዉ ሁሉ አብሮት ሳቀ። ዴልሲና ደግሞ ሲስቁባት የምትመለስ ሴት አይደለችም፤ ሲስቁባት ይብስባታል። በልጅነቷ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠችው መምህሩ ስለሳቀባት ነው፤ እስከ ዛሬ፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቷ፣ ያንን ሰውዬ መንገድ ላይ ስታገኘው ፊቷን ታዞራለች።

ነገሩ ግን የሳቅ አልነበረም። በዚያ ዳርቻ ባሕሩ ከፍ ብሎ የሚሞላው ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ነው። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ጢም ይላል፤ ከዚያ መጉደል ይጀምራል። ነገ ያልወረደ ጀልባ የሚቀጥለውን ጨረቃ መጠበቅ አለበት፤ ያኔ ደግሞ የአውሎ ነፋሱ ወራት ይገባል። ከአራት ዓመት በፊት የአንድ ጎረቤታቸው ጀልባ ሰው አንሶት ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። አፍንጫው ውኃ እየነካ፣ በሁለተኛው ሳምንት ባሕሩ ሰባበረው። ሰውየው እስከ ዛሬ በዚያ በኩል አያልፍም።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እንግዶቹ ሂልስቦሮ ወደብ ደረሱ። ዴልሲና ሚኒባሷን አጥባ፣ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀቻቸው። ከፊት ረጅሙ ሚስተር ዊትሎ፣ እንግሊዛዊ ጡረተኛ መምህር፣ የጉብኝቱን ወረቀት ለአራት አጥፈው እንደያዙ፤ ከኋላቸው ባለቤታቸው፤ ከዚያ ሁለት ዝምተኛ ካናዳውያን ወንድማማቾች፤ መጨረሻ ላይ ማሪከ የምትባል ክንዷ የወፈረ የሆላንድ ሴት።

ሚስተር ዊትሎ ገብተው ዝም ብለው ተቀመጡ። ዴልሲና ሞተሩን አላስነሳችም።

«ችግር አለ?» አሉ።

«እዚህ አገር ሰው መኪና ውስጥ ሲገባ ደህና አደራችሁ ይላል።»

«ለማን?»

«ላለው ሰው ነዋ! እኔ የለሁም እንዴ?»

«ደህና አደሩ» አሉ ሚስተር ዊትሎ፣ ጆሯቸው ቀልቶ። ሞተሩ ተነሳ።

ቤሌር ኮረብታ ላይ ወጥተው ባሕሩን አዩ። ሌላ ቀን ዴልሲና እዚያ ግማሽ ሰዓት ትቆማለች፤ ደሴቶቹን አንድ በአንድ እየጠቆመች ትቆጥርላቸዋለች። ዛሬ «ያ ሁሉ ውኃ ነው፣ ይህ ሁሉ የኛ ነው፣ ግቡ» ብላ አስገባቻቸው። በየጠመዝማዛው ጥሩምባዋን እያስጮኸች ቁልቁል ስትወርድ የካናዳዎቹ ታናሽ የፊቱን ወንበር ጨብጦ መሳቅ ጀመረ። ፍየሎች እየዘለሉ መንገድ ለቀቁላት።

«ሚስ ዴልሲና» አሉ ሚስተር ዊትሎ ወረቀቱን ዘርግተው፣ «አራት ሰዓት ተኩል ላይ ዋና ይላል። የዋናው ዳርቻ በዚያ በኩል አይደለም?»

«ነው።»

«እኛ ደግሞ በዚህ በኩል እየሄድን ነው።»

«ልክ ነዎት። ባሕሩ የትም አይሄድም፣ ነገም እዚያው ነው።»

«ነገ እኛ የለንም!»

«ይሄ ታዲያ የባሕሩ ጥፋት ነው?»

ዴልሲና ግን ሰው አታልላ መውሰድ አልወደደችም። መኪናውን ጥግ አስይዛ ወደ ኋላ ዞረችና ነገሩን እንዳለ ነገረቻቸው፤ ጀልባውን፣ ጨረቃውን፣ የጎረቤቱን ስብርባሪ፣ የወንድሟን ሳቅ ሳይቀር። «መዋኘት የሚፈልግ ካለ አሁኑኑ አዙሬ አደርሳለሁ፤ የገባሁት ውል ነው። ገመድ መሳብ የሚፈልግ ካለ ደግሞ እጁን ያውጣ።»

ማሪከ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ጠጋ አለች።

«እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ» አለች ማሪከ። «በቀን አርባ ኪሎ ሊጥ ነው የማነሳው። ገመዱ የት ነው?» እጇን አወጣች። ወንድማማቾቹ አከታተሉ። የሚስተር ዊትሎ ባለቤትም ኮፍያቸውን አጥብቀው እጃቸውን አነሱ።

«እኔ ወገቤን ያመኛል» አሉ ሚስተር ዊትሎ። «መምጣቱን እመጣለሁ። ግን ተቀምጬ ነው የማየው። ይህንንም ለአስጎብኚ ድርጅቱ እጽፋለሁ።»

«ይጻፉ፤ ወንበር አይጠፋም» አለች ዴልሲና። ጥሩምባዋን አስጮኸች፤ በልቧ ግን ቆጠረች። ስምንት እጅ። ኦገስቲን ደግሞ መቁጠር ያውቃል።

ዊንድዋርድ ሲደርሱ ገና ማንም ገመድ አልነካም። መንደሩ ሁሉ ድስት ላይ ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ በርሜል የሚያህል ብረት ድስት ይንተከተካል፤ የበግ ሥጋ፣ አተር፣ በእጅ የተድበለበለ የበቆሎ ገንፎ። ከበሮ ይመታል፣ ቫዮሊን ይጮኻል፣ ሕፃናት በጀልባው ሆድ ሥር ይሯሯጣሉ። እንግዶቹ ገና ከመኪና ሳይወርዱ አሮጊቶቹ ሳህን አስጨበጧቸው።

«እማማ፣ አታጥግቧቸው፣ ሊጎትቱልኝ ነው ያመጣኋቸው!» አለች ዴልሲና።

«ባዶ ሆድ ምን ይጎትታል? ይህቺ ቀጫጫ ሴትዮ በነፋስ ትሄድብናለች፣ ጨምሪላት!» አሉ አንዷ አሮጊት፤ የሚስተር ዊትሎን ባለቤት ሳህንም ድጋሚ ሞሉት። ማሪከ ሦስተኛ ሳህኗን ጨርሳ ጣቷን ትልሳለች።

ኦገስቲን መጣ። እንግዶቹን በዓይኑ ለቀማቸው፤ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሚስተር ዊትሎን ሲያይ ጢሙን አሻሸ።

«ስምንት» አለ።

«ዝም በል አንተ።»

«ስምንት እጅና አንድ ተመልካች። ትኬት ቆርጦ ነው የገባው?»

ዴልሲና የገበያ ዘንቢሏን አንሥታ እንግዶቹ ፊት ቆመች። «ስልክ እዚህ!» አምስቱም ስልኮች ዘንቢል ገቡ። የሚስተር ዊትሎ የመጨረሻው ነበር፤ እየቆጫቸው ሰጡ።

ሰባት ሰዓት ላይ ቄሱ ጀልባውን ጸበል ረጩት። ኦገስቲን ለሞቱት አባቶች የሸንኮራ አረቄ መሬት ላይ አፈሰሰ። ከዚያ መጥረቢያ የያዙት ሰዎች በአንድ ወገን ተሰለፉ፤ ባላዎቹን ከሥር ከሥራቸው መቁረጥ ጀመሩ። ቋ! ቋ! ቋ! በየምቱ ጀልባው ይንቀጠቀጣል። ሕፃናቱ ወደ እናቶቻቸው ሸሹ። የመጨረሻው ባላ ሲሰበር ጀልባው እንደ ደከመው ሰው በቀስታ ዘመም አለና ከሥሩ በተደረደሩት ተንከባላይ ግንዶች ላይ በጎኑ ተኛ። መንደሩ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ዴልሲና ዞር ስትል ማሪከ ታለቅሳለች።

ገመዱ ጀልባው አፍንጫ ላይ ታስሮ ወደ ጥልቀት የለሹ ውኃ ተዘረጋ፤ እንደ ክንድ የወፈረ፣ ሃምሳ እርምጃ የሚረዝም። ዴልሲና እንግዶቿን ጭራው ላይ አንድ ላይ ደረደረቻቸው። ከእንግዶች አንዱ እንኳ ቢቆስል ተጠያቂዋ እሷ ናት፤ ስለዚህ ከዓይኗ እንዲርቁ አልፈለገችም። ከፊት አያ ከትበርት ድንጋይ ላይ ወጡ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ የጉተታውን ዘፈን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ያወጣሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ሲቀበል ይስባል።

«ኦ ጀልባዬ፣ ባሕሩ ጠራሽ!»

«ሄይ! ነይ!»

ጀልባው ግንዶቹ ላይ ተንሸራተተ። አንድ ክንድ። ሁለት። አሸዋው ይጮኻል፣ ሰዉ ይጮኻል፣ የተለቀቀውን ግንድ ሕፃናት ከኋላ እያነሡ ወደ ፊት ያመጣሉ። ውኃው ጢም ብሎ ዳርቻውን ይልሳል። ከዚያ ጀልባው እርጥቡ አሸዋ ላይ ደረሰና ቀጥ አለ። አፍንጫው ውኃውን ነክቷል። ልክ ያ የጎረቤቱ ጀልባ የቀረበት ቦታ።

አያ ከትበርት ዘፈኑ፣ ሕዝቡ ሳበ፣ ጀልባው ግን አልነቃነቅም አለ። ደግመው ሳቡ። ምንም። ስምንት ሰዓት አለፈ። ኦገስቲን ላቡ በአገጩ እየወረደ ውኃውን ያያል፤ አሁን አይሳለቅም። ያ ዴልሲናን ከሳቁ ይልቅ አስፈራት።

«ሚስ ዴልሲና!» ሚስተር ዊትሎ ከወንበራቸው ጮኹ። «የእርስዎ ሰዎች ይዘገያሉ! ሌላው ስቦ ሲጨርስ ነው እነሱ የሚስቡት። እያየኋቸው ነው!»

«ወገቡን ያመመው ሰው አፉን አላመመውም እንዴ!» አለች ዴልሲና።

ሰዉ ሳቀ፤ እሷ ግን በሚቀጥለው ዘፈን ገመዱን ሳትይዝ ቆማ አየች። «ሄይ! ነይ!» ፊት ያለው ሁሉ እንደ አንድ ሰው ወደ ኋላ ወደቀ። ጭራው ላይ ያሉት ግን የዘፈኑን ምት አያውቁም፤ የፊቱን አይተው ነው የሚስቡት። እነሱ ሲስቡ ፊተኛው እየተነፈሰ ነው። ሚስተር ዊትሎ እውነታቸውን ነው። አንድ ላይ አድርጋ ያስቀመጠቻቸው ደግሞ እሷ ራሷ ናት።

ዴልሲና በሕይወቷ ተሳስቻለሁ ያለችበትን ቀን ኦገስቲን አያስታውስም። እሷም አታስታውስም። ውኃው ግን አንድ ጣት ያህል ሸሽቶ አሸዋው ላይ እርጥብ መስመር ጥሎ ነበር።

«ቁሙ!» ብላ ጮኸች። ከበሮው ሳይቀር ቆመ። «ጥፋቱ የኔ ነው! ለብቻቸው ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ኦገስቲን፣ እንዳትስቅ! ማሪከ፣ አንቺ ከፊት፣ በኦገስቲንና በዓሣ ሻጯ መሐል! አንተ እዚህ፣ ወንድምህ እዚያ! ትከሻችሁን ከአጠገባችሁ ካለው ሰው ትከሻ ጋር አጣብቁ፤ እሱ ሲወድቅ አብራችሁ ውደቁ፣ ጆሮ አያስፈልግም!»

«ሰግስጊያቸው ልጄ!» አሉ አያ ከትበርት ከድንጋዩ ላይ። «አሁን ገመድ ሆነ!»

ዴልሲና የሚስተር ዊትሎን ባለቤት በሁለት አሮጊቶች መሐል አስገባች። ቀጥሎ ክፍት ቦታ ቀረ። ዘወር ስትል ሚስተር ዊትሎ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ቆመዋል።

«ወገብዎስ?»

«ነገም ያመኛል፤ የትም አይሄድም» አሉና ገመዱን ያዙ።

«ኦ ጀልባዬ፣ ባሕሩ ጠራሽ!»

«ሄይ! ነይ!»

ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወደቀ፤ ጥቁሩም ነጩም፣ እንግዳውም ዘፋኙም። ከጀልባው ሆድ ሥር አንድ ነገር ጓ! አለ። «ሄደች!» ብሎ አንድ ሰው ጮኸ። ሄደችም! መጀመሪያ በዳዴ፣ ከዚያ በእርምጃ፣ ከዚያ ሩጫ ሆነ፤ ጎታቾቹ እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው አሁን ከጀልባው የሚሸሹት እነሱ ሆኑ። ጀልባው ባሕሩን ሰንጥቆ ገባ፤ ተንገዳገደ፤ ቀና አለ። ተንሳፈፈ።

የጀልባው ክርስትና እናት ሆና የተመረጠችው ሴት የባንዲራውን ገመድ ስትስብ ምሰሶው ጫፍ ላይ የተጠቀለለው ጨርቅ ተፈታና ስሙ ታየ፤ «አለን» ይላል። ከአውሎ ነፋሱ ወዲህ እንዲህ ያለ ጩኸት ደሴቲቱ ላይ አልተሰማም። አሮጊቶች ከነቀሚሳቸው ውኃ ውስጥ ይጨፍራሉ። ማሪከ ኦገስቲንን ከወገቡ አንሥታ አሽከረከረችው። ሚስተር ዊትሎ እስከ አንገታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው እንደ ልጅ ያጨበጭባሉ፤ የጉብኝት ወረቀታቸው ከኪሳቸው ወጥቶ ማዕበል ላይ ይንሳፈፋል።

ኦገስቲን ውኃ እያንጠባጠበ እህቱ ጋ መጣ። የእንግዶቹ መርከብ ሊነሣ አንድ ሰዓት ነው የቀረው።

«አስር» አላት።

«ቆጥረሃል?»

«ቆጥሬአለሁ።» ወደ ዘንቢሏ ጠቆመ። «ስልኮቹስ?»

ዴልሲና ዘንቢሉን አየች። አምስቱም እዚያው ናቸው። እንግዶቹም ያኔ አስታወሱ፤ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከመካከላቸው አንድም ፎቶ ያነሣ ሰው የለም።

«አገራችን ስንገባ ማን ያምነናል?» አለች ማሪከ።

ሚስተር ዊትሎ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ገመዱ ቀይ አድርጎ ልጦታል። «ይህንን አሳያለሁ» አሉ። «ሚስ ዴልሲና፣ ዋናውን ደግሞ ዋኝቻለሁ። ለድርጅቱ የምጽፈው ነገር የለኝም።»

«ይጻፉ እንጂ» አለች ዴልሲና የሚኒባሷን በር እየከፈተች። «ግቡ፣ መርከቡ አይጠብቅም!»

እየተንጠባጠቡ አንድ በአንድ ገቡ። «ደህና ዋላችሁ» አሉ ሚስተር ዊትሎ ሲገቡ፣ ጮክ ብለው፣ ለሁሉም። ዴልሲና ቢጫ ቀሚሷን ጨምቃ ሞተሩን አስነሳች። ጠመዝማዛው ጋ ሳትደርስ ገና ከመንደሩ ጀምሮ ጥሩምባዋን እያስጮኸች ሄደች።