ዘጠነኛው ፍሬም

ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2012 በአጎቴ በሌላንድ ሳሎን ሰሜናዊ ግድግዳ ላይ አርባ አራት ፍሬሞች ተሰቅለው ነበር። ሰባት ሰባት ሆነው በስድስት ረድፍ ተደርድረዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ለብቻቸው ከወለሉ አጠገብ ናቸው። በአርባ ሦስቱ ውስጥ፣ በየተራቸው፣ እያንዳንዱ ፕሬዚዳንት በሥልጣን ላይ ሳለ በእጁ የፈረመበት ደብዳቤ፣ የሹመት ወረቀት ወይም ፎቶግራፍ አለ። በሁለተኛው ረድፍ ከግራ ሁለተኛ ላይ ያለው ዘጠነኛው ፍሬም ግን ባዶ ነበር። ከመስታወቱ ጀርባ ነጣ ያለ ካርቶን እንጂ ሌላ የለም። አጎቴ የሰቀለው እኔ በተወለድኩበት ዓመት ነው፤ ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ እሑድ መስታወቱን ወልውሎታል።

ባዶ ፍሬም መስቀል አጎቴ ያለበት የፊርማ ሰብሳቢዎች ማኅበር ልማድ ነው። አንድ ነገር የጎደለው ሰው አስቀድሞ ፍሬሙን በቦታው ይሰቅላል፤ የሚጠበቀው እስኪመጣ ሌላ ነገር አይገባበትም። ከማኅበሩ ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ወደ ባዶው ፍሬም አይቶ “መጣ?” ይላል። ባለቤቱም “መንገድ ላይ ነው” ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ጤናና ስለ አየሩ የሚጠያየቁት።

ዘጠነኛው ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሄንሪ ሃሪሰን ናቸው። ማርች 4 ቀን 1841 ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ በወሩ ኤፕሪል 4 ቀን ሞቱ። በሠላሳ አንድ ቀን ውስጥ የፈረሙት ጥቂት ነው፣ ከእሱም የተረፈው ከጥቂት ያነሰ። የተቀበሩት ደግሞ እዚሁ ኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ ከአጎቴ ቤት ሁለት ማይል ላይ ነው። ጉም በሌለበት ጠዋት የመቃብራቸው ሐውልት ጫፍ ከፎቁ መስኮት ይታያል። ፌሪስ የሚባለው የአጎቴ የአርባ ዓመት ጓደኛ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ይህችን አጋጣሚ አንድም ቀን አላለፋትም። ከአርባ ሦስቱ ጋር ተስማምተህ ጎረቤትህ ብቻ ያኮረፈህ ምን ብታደርገው ነው ይለዋል።

እኔ ሮዌና፣ የወንድሙ ልጅ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በስቴቱ የሰነድ ምርመራ ላቦራቶሪ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አብሬው መኖር ጀምሬ ነበር። የገባሁት በዓይኑ ምክንያት ነው። በሰማንያ አራት ዓመቱ የሁለቱም ዓይኖቹ መሀል እየጠፋ ነበር። ዳር ዳሩን ያያል፤ ትኩር ብሎ ያየው ነገር ግን ግራጫ ጭጋግ ይሆንበታል። የሰው ፊት ሲያይ ጆሮና ፀጉር ይታየዋል፣ ፊቱ የለም። ሐኪሟ መጸው ሲደርስ ማንበብ የሚባል ነገር እንደማይኖር ነግራው ነበር። አንድ ነገር ማየት ሲፈልግ ከነገሩ ዝቅ አድርጎ እንዲያይ አስተምራዋለች፤ እሱ ግን ልማዱን መተው አቃተው። በተለይ ዘጠነኛውን ፍሬም ፊት ለፊት ያፈጥበታል፣ ፍሬሙም ይጠፋበታል። ሌላ አልጠየቀም፤ መስታወቱ ሳይጠፋበት በፊት አንድ ጊዜ ሞልቶ ሊያየው ነበር የፈለገው።

በእነዚያ ወራት ሕልም ያያል። ቁርስ ላይ ሲነግረኝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሰውየው፣ ሃሪሰን፣ ከወንዙ ጉም ውስጥ ይወጣሉ፣ ጫማቸው ደረቅ ነው። ብዕር ይዘው ከፍሬሙ ሥር ይቆሙና ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ብለው ይጠይቁታል። አጎቴ ይነግራቸዋል። ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ብዕሩን ሳይነክሩ ይመለሳሉ። “ሁልጊዜ የተሳሳተ ቀን ነው የምነግራቸው” አለኝ አንድ ቀን፣ ዳቦው ላይ ቅቤ ለመቀባት እየፈለገ፤ ቅቤው እጁ አጠገብ ነበር።

ፌብሩዋሪ 4 ቅዳሜ፣ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ፌሪስ አንድ ወረቀት አወጣ። በማሳቹሴትስ ጠረፍ ዓሣ ነባሪ ያድኑ ከነበሩ ሰዎች ቤት ዕቃ ጋር የተገኘ የመርከብ መውጫ ፈቃድ ነው። የመርከቧና የካፒቴኑ ስም በጉምሩክ ሹሙ እጅ ተሞልቷል፤ ቀኑ ማርች 22፣ 1841። ከታች የፕሬዚዳንቱ ፊርማ የነበረበት ቦታ ፀሐይ በልቶት ቡናማ ጥላ ብቻ ቀርቷል። ፌሪስ ስለ ፊርማው ዋስ እንደማይሆን በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። አጎቴ ግን ቀኑን ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ ወደ ቤት ሄዶ አሥራ ስድስተኛውን፣ የአብርሃም ሊንከንን የተፈረመ ፎቶግራፍ፣ ከነፍሬሙ አውርዶ በለውጥ ሰጠ። ከግድግዳው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር። በማኅበሩ ደንብ ለውጥ እስከ ሠላሳኛው ቀን ድረስ ሊፈርስ ይችላል። ከሠላሳኛው በኋላ አይፈርስም።

አጎቴ ወረቀቱን በመሳቢያ ውስጥ አኖረው እንጂ በፍሬሙ አላገባውም። መብራቴን ላምጣና እንየው ስለው ወረቀቱ ከመንገድ ነው የመጣ፣ ይረፍ ይላል። በሳምንቱ ስጠይቀው ጉንፋን ይዞኛል አለ። በሦስተኛው ሳምንት ጉንፋኑ አልነበረም፣ መልሱ ግን ያው ሆነ። የሚፈራውን አውቅ ነበር፣ ምክንያቱም ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። በዚያ ዘመን የመርከብ ወረቀቶች ባዶአቸውን በመቶ በመቶ ዋሽንግተን ውስጥ ይፈረሙና ወደየወደቡ ይላኩ ነበር። የወደቡ ሹም መርከብ ሲመጣ ስሙንና ቀኑን ይሞላል። ፕሬዚዳንቱ ወርዶ ሌላ ሲተካም የቀድሞው ክምር እስኪያልቅ ይሠራበታል። ስለዚህ ቀኑ ያንዱ፣ ፊርማው የሌላው ሊሆን ይችላል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ይህን ነግሮኝ፣ በቀን ብቻ የሚገዛ ሰው ሰብሳቢ አይባልም ብሎኝ ነበር።

በሃያ ሰባተኛው ቀን፣ ማርች 2 ከምሳ በኋላ፣ ራሱ ጠራኝ። መጋረጃውን ዘጋሁ። ጓንት አድርጌ ወረቀቱን በጥቁር ጨርቅ ላይ ዘረጋሁና የአልትራቫዮሌት መብራቱን ከጎን አበራሁ። ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ጋመ። ከብረት የሚሠራው የድሮ ቀለም ለተራ ዓይን ቢጠፋም እንዲህ ባለ ብርሃን ሥር ጠቁሮ ይወጣል፤ እዚህም ወጣ። መጀመሪያ እንደ ውሃ ውስጥ ሣር ተርገበገበ፣ ቀጥሎ መስመሩን ያዘ። ርዝመቱ ሦስት ኢንች ከሩብ ነበር።

አነበብኩት። በላቦራቶሪ ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ያነበብኩትን ለመናገር ይህን ያህል ዘግይቼ አላውቅም። ክፍሉ ሰማያዊ ነበር፣ የአጎቴ ሸሚዝ አንገቱ ጋ ያበራል፣ ከውጭ የዕቃ ባቡር ወንዙን ይዞ ያልፋል። ፉርጎዎቹን መቁጠር ጀመርኩ። ስድሳ ሁለት ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁት። ወረቀቱን አያይም ነበር። ዓይኑን ከጠረጴዛው ጠርዝ ዝቅ አድርጎ፣ ሐኪሟ እንዳስተማረችው፣ ወለሉን ያያል።

“ጎረቤቴ አይደሉም” አለ።

መብራቱን ወደ ፊርማው አስጠጋሁለት።

“ስምንተኛው ናቸው፣ ቫን ቡረን። አይደለም እንዴ?”

“ናቸው፣ አጎቴ። ግን በምን አየኸው?”

“አንቺ ልጅ፣ በየማለዳው ከግድግዳው ላይ እንዴት አደሩ የምላቸውን ሰውዬ የእጅ ጽሑፍ አላውቅም?”

ለማረጋገጥ ስምንተኛውን ፍሬም አውርጄ ፊርማውን በብርሃን አሳላፊ ወረቀት ገልብጬ ከላይ አስተያየሁት። ከዘጠኝ መለያዎች ስምንቱ ገጠሙ፤ ዘጠነኛው ቀለሙ ፈጽሞ የተላጠበት ቦታ ላይ ነው የወደቀ። ውጤቱን ስነግረው በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ፌሪስ ወረቀቱን ባሳየበት ቅጽበት የመርከቦቹ ነገር ትዝ ብሎት እንደነበር፣ ሃያ ሰባት ቀንም ትዝ እንዳላለው ሰው ሲኖር እንደቆየ ነገረኝ። ደስ የሚል ጊዜ ነበር አለ። ሕልሙ እንኳ መጥቶበት አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ፌሪስ የቼሪ ፓይ በአንድ እጁ፣ ሊንከንን በሌላው ብብቱ ይዞ መጣ። ማን እንደነገረው አልጠየቅኩም፤ ጠዋት ደውዬለት ነበር። ኮቱን ሳያወልቅ ወደ ሁለተኛው ረድፍ አየና “መጣ?” አለ።

“መንገድ ላይ ነው” አለ አጎቴ።

ፌሪስ ተንፍሶ ተቀመጠ። ሠላሳ ቀን ገና እንዳልሞላ፣ የመርከቡን ወረቀት መልሶ እንደሚወስድ፣ ለማንም እንደማይናገር ገለጸ። አጎቴ ፓይውን እስኪጨርስ አልመለሰለትም። ከዚያ ለውጡን እንደማያፈርስ ነገረው። ወረቀቱ ላይ ማንም ይፈርም፣ የወደቡ ሹም ብዕሩን የነከረው በማርች 22 ነው። መርከቧ በዚያን ቀን ስትወጣ ጎረቤቱ በሕይወት ነበሩ፣ ምናልባት ሻይ እየጠጡ። በዚህ ቤት ውስጥ ከእነዚያ ሠላሳ አንድ ቀናት የመጣ ነገር ከዚህ ሌላ የለም።

ፌሪስ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ ፎቶግራፉን። “የት ልትሰቅለው?”

“ሊንከን ከነበሩበት።”

“ሊንከን ወርደው ቫን ቡረን ሊወጡ? ሌላንድ፣ የጠፋብህ ዓይንህ ብቻ መስሎኝ ነበር።”

“እንግዲህ አንተ ሁለቱም አሉህ፣ ምስማሩን አንተ ምታልኝ።”

ፌሪስ እያጉረመረመ መዶሻ ጠየቀኝ። ቦታው ባይሆን ኖሮ ነገሩ እልህ ብቻ ነው ብዬ ባለፍኩት ነበር። ረድፎቹ ሰባት ሰባት ስለሆኑ፣ አሥራ ስድስተኛው በትክክል ከዘጠነኛው ሥር ነው። የመርከቡ ወረቀት በሌላ ፍሬም ገብቶ እዚያ ሲሰቀል የላይኛው ጠርዙ ከባዶው ፍሬም በታች ሁለት ኢንች ላይ ዋለ። አጎቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ወረቀቱ አቀና። ለሱ ወረቀቱ ወዲያው ወደ ጭጋግ ተለወጠ፣ ሊሆን እንደሚገባው። ከጭጋጉ በላይ ግን አራት ማዕዘን እንጨት፣ መስታወትና ነጣ ያለ ካርቶን ጥርት ብለው ቆሙ።

ፌሪስ መዶሻውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይጠብቃል።

“ሊንከንን ሳይ ፊታቸውን ማየት እፈልግ ነበር” አለ አጎቴ በመጨረሻ። “እኚህን ግን አውቃቸዋለሁ፤ ማየት አያስፈልገኝም።”

ፌሪስ ሲሄድ ፎቶግራፉን በመጣበት ብብት ይዞት ወጣ። ደጁ ላይ ቆሞ፣ አንድ ቀን ልብ ከገዛ ሠላሳው ቀን ቢያልፍም ይመለስለታል፣ ይህን ግን እንዳትነግሪው ብሎኝ ወደ መኪናው ወረደ። ጉሙ ከወንዙ እየወጣ ነበር፤ የመቃብሩ ሐውልት ከወገቡ በታች አይታይም።

ሕልሙ በዚያው ሳምንት ተመለሰ። ሰውየው ቀኑን ጠየቁት፣ አጎቴም ማርች ሃያ ሁለት አላቸው። ብዕራቸውን ነክረዋል ወይ አልኩት። አላየሁም፣ የማየው ጫማቸውን ነበር አለኝ፤ እንቁላሉን መብላት ቀጠለ።

በመጸው፣ ሐኪሟ እንዳለችው፣ ማንበብ ቀረ። ሴፕቴምበር 29 ቀን ወንበሩን ከግድግዳው ስምንት ጫማ አርቄ የዓሣ መያዣ ዘንግ ሰጠሁት፣ ጫፉንም በጨርቅ ጠቀለልኩ። ዓይኑን በመርከቡ ወረቀት ላይ አድርጎ አሁንም ይታየው እንደሆነ ለማወቅ ዘጠነኛውን ፍሬም በዘንጉ እንዲነካ ጠየቅኩት፤ በየመሀሉ ዘንጉን ወደ ወለሉ ይመልሳል። አሥራ ሁለት ጊዜ ሞከረ። አሥራ አንዱ ከመስታወቱ ላይ አረፈ፤ አንዱ ከፍሬሙ በስተቀኝ በግማሽ ኢንች ሳተ።